የኦርጋኒክ ምግብ ማሸጊያ ጽሑፍን አንብቦ ለቤተሰብ አስቤዛ እንዴት እንደሚገዛ

አሜሪካ ውስጥ ኦርጋኒክ የተባለ ምግብ አብዛኛውን ጊዜ ከሌላው በዋጋ ይወደዳል። ስለዚህ ጭማሪው የሚከፈለው ለምን እንደሆነ አውቆ መግዛት ያስፈልጋል። ኦርጋኒክ የሚለው ቃል ምግቡ እንዴት እንደተመረተ ብቻ ነው የሚናገረው። ስኳሩ፣ ጨውና ቅባቱ ምን ያህል እንደሆነ አይነግረንም፤ በኦርጋኒክ ስኳር የተሠራ ብስኩትም ያው ብስኩት ነው። የማሸጊያውን ፊት ስለ እርሻው፣ ጀርባውን ስለ ጤናችሁ አንብቡት።

1. ክቡን ማህተም ፈልጉ

ብዙ ጊዜ አረንጓዴና ነጭ ነው፤ ውስጡ «ዩኤስዲኤ ኦርጋኒክ» ይላል። ማህተሙ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ነው። ይህን ለማግኘት መሬቱ ከምርቱ በፊት ለ3 ዓመት ያልተፈቀደ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ያልነካው መሆን አለበት። ዘረመሉ የተለወጠ ዘር ክልክል ነው። ከብቱ የሚመገበው ኦርጋኒክ መኖ ነው፤ አንቲባዮቲክም ሆነ የማፋፊያ ሆርሞን አይሰጠውም። ላሞች ደግሞ በዓመት ቢያንስ 120 ቀን ግጦሽ ላይ መዋል አለባቸው። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን «ምንም አልተረጨበትም» ማለት አይደለም፤ ለኦርጋኒክ እርሻ የተፈቀዱ ፀረ ተባዮች አሉ።

ቃሉ የተጻፈበት መንገድም ለውጥ አለው። «100 ፐርሰንት ኦርጋኒክ» ከሆነ ሁሉም ግብዓት ኦርጋኒክ ነው። «ኦርጋኒክ» ብቻ ካለ፣ ውሃና ጨው ሳይቆጠሩ ቢያንስ 95 በመቶው ነው። «ሜድ ዊዝ ኦርጋኒክ» (በኦርጋኒክ ግብዓት የተሠራ) የሚለው ቢያንስ 70 በመቶ ኦርጋኒክ ሲሆን ማህተሙን መለጠፍ አይፈቀድለትም። ከዚያ በታች የሆነ ምርት ቃሉን መጻፍ የሚችለው ከጀርባ በግብዓቶች ዝርዝር ውስጥ ብቻ ነው። ጥርጣሬ ካደረባችሁ ከአምራቹ ወይም ከአከፋፋዩ ስም ሥር «ሰርቲፋይድ ኦርጋኒክ ባይ» የሚለውን ፈልጉ፤ ያረጋገጠው ድርጅት ስም እዚያ መኖር አለበት።

ገበሬዎች ራሳቸው በሚሸጡበት ገበያ ማህተም ስላላያችሁ ሻጩን አትጠርጥሩት። በዓመት ከ5,000 ዶላር የማይበልጥ ኦርጋኒክ ምርት የሚሸጥ ገበሬ ደንቡን መከተል ቢኖርበትም የምስክር ወረቀት እንዲያወጣ አይገደድም። እንዴት እንደሚያመርት ጠይቁት።

2. ፍራፍሬው ላይ የተለጠፈውን ቁጥር እዩ

በ9 የሚጀምር ባለ 5 አኃዝ ቁጥር ኦርጋኒክ ነው፤ ባለ 4 አኃዝ ከሆነ በተለመደው መንገድ የተመረተ ነው። ተራው ሙዝ 4011፣ ኦርጋኒኩ 94011 ነው።

3. በሚመሳሰሉ ቃላት አትሳቡ

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። ሥጋ ላይ የተጻፈ «ናቹራል» ሰው ሠራሽ ነገር አልተጨመረበትም፣ ብዙም አልተቀነባበረም ማለት ነው፤ እንስሳው ምን እንደበላ ወይም መድኃኒት ወስዶ እንደሆነ አይገልጽም። ዶሮ ላይ «ሆርሞን የለውም» ብሎ ዋጋ መጨመር ትርጉም የለውም፤ ለዶሮ ሆርሞን መስጠት ለማንም ስለማይፈቀድ ርካሹም ዶሮ ሆርሞን የለውም። «ኬጅ ፍሪ» እንቁላል የጣለችው ዶሮ ከሽቦ ሳጥን ነፃ ናት እንጂ ከቤት ላትወጣ ትችላለች። ዓሣ ላይ «ኦርጋኒክ» ብታዩ ደግሞ ግብርና ሚኒስቴሩ ለዓሣ ያወጣው የኦርጋኒክ መስፈርት እንደሌለ አስታውሱ።

4. ማሸጊያውን ገልብጡ

መጀመሪያ «ሰርቪንግ ሳይዝ» (የአንድ ጊዜ መመገቢያ መጠን) የሚለውን አንብቡ። ቁጥሮቹ ሁሉ የተሰሉት ለዚያ መጠን ነው። ጠርሙሱ 2 ሰርቪንግ ከሆነና ልጁ ጨርሶ ከጠጣው ስኳሩን በ2 አባዙ።

ቀጥሎ «አዲድ ሹገርስ» (የተጨመረ ስኳር) ላይ ሂዱ። 4 ግራም ስኳር 1 የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። አንድ ኩባያ የፍራፍሬ እርጎ 12 ግራም የተጨመረ ስኳር አለው ከተባለ 3 የሻይ ማንኪያ ነው፤ ኦርጋኒክ መሆኑ ይህን አይቀንሰውም። የአሜሪካ ልብ ማኅበር ከ2 ዓመት በላይ ላሉ ልጆች በቀን ከ25 ግራም በታች ይመክራል፤ ከ2 ዓመት በታች ላሉት ጨርሶ ባይሰጥ ይሻላል። ባዶ እርጎ ገዝቶ ሙዝ መፍጨት ርካሽም ጤናማም ነው። በስተቀኝ ያለው መቶኛ (ከቀኑ መጠን ያለው ድርሻ) 5 እና ከዚያ በታች ከሆነ ዝቅተኛ፣ 20 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ነው። ሶዲየምንም (ጨውን) በዚሁ መዝኑት።

ግብዓቶች የሚዘረዘሩት ከብዙው ወደ ጥቂቱ በክብደት ቅደም ተከተል ነው። ከሐበሻ ሱቅ የምትገዙትን የእንጀራ ፌስታል አገላብጡት። ፊቱ ላይ «የጤፍ» ተብሎ ጀርባው ላይ ቀድሞ የተጻፈው የስንዴ ወይም «ሰልፍ ራይዚንግ» (ራሱ የሚነፋ የስንዴ) ዱቄት ከሆነ፣ ስንዴው ከጤፉ ይበልጣል። ሰልፍ ራይዚንግ ዱቄት ጨውና ቤኪንግ ፓውደር ስላለበት ሶዲየሙን ከፍ ያደርገዋል፤ ግሉተን (ስንዴ ውስጥ ያለ ፕሮቲን) ለማይስማማው ሰው ደግሞ ጉዳዩ ከዚህም የከፋ ነው።

5. ገንዘባችሁን የት እንደምታውሉ ወስኑ

ሁሉን ኦርጋኒክ መግዛት አያስፈልግም። ከነልጣጩ ወይም ከነቅጠሉ የሚበላውን፣ ማለትም እንጆሪ፣ ፖም፣ ወይን፣ ስፒናችና ጎመን፣ አቅም ከፈቀደ ኦርጋኒክ አድርጉ። ሽንኩርት፣ አቮካዶ፣ አናናስና ሙዝ ተልጠው ስለሚበሉ ተራው ይበቃል። የሱፐርማርኬቱ የራሱ ብራንድ ማህተሙ ካለው የሚመረተው በዚያው ሕግ ስለሆነ ውዱን አትፈልጉ። በረዶ የሆነው እንጆሪና ስፒናችም ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ኦርጋኒኩ ተወደደ ብሎ አትክልትና ፍራፍሬ መቀነስ ግን ትልቁ ስህተት ነው፤ ተራውን ጎመን አዘውትሮ የሚበላ ልጅ ይጠቀማል።

6. እጠቡ

ኦርጋኒክም ቢሆን አፈርና ጀርም ይኖረዋል። በሚወርድ ውሃ እያሻችሁ እጠቡ፤ ሳሙና አትጠቀሙ፣ ምግቡ ውስጥ ሊሰርግ ይችላል። ጎመኑን ቅጠል በቅጠል ለዩት፤ አፈሩ የሚደበቀው ግንዱ ሥር ነው። አቮካዶም ከመቆረጡ በፊት ይታጠባል፤ ቢላዋው ከልጣጩ ላይ ያለውን ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይዞ ይገባልና።