የአሮጌ ላንድ ክሩዘር ዕቃ በራስ እጅ፦ ከማርሽ ዘንግ ቆብ እንጀምር

ማርሽ ስታስገቡ ዘንጉ በባዶ ድስት ውስጥ እንዳለ ማማሰያ ከዞረ፣ ሁለተኛ ያላችሁት አራተኛ ከገባ፣ «ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) አለቀ» ብላችሁ ከመደንገጣችሁ በፊት የዘንጉን የታችኛውን ጫፍ እዩት። በብዙ የድሮ ቶዮታ ካምቢዮዎች ላይ እዚያ ጫፍ ላይ የምትጠልቅ፣ ልብስ ሰፊ ጣቱ ላይ ከሚያደርጋት ቆብ ብዙም የማትበልጥ ፕላስቲክ አለች። መካኒኮች ቦኮላም ቡሽም ይሏታል። እሷ ስትበላ ዘንጉ መያዣ ያጣል፤ ካምቢዮው ግን ጤነኛ ሊሆን ይችላል።

የ40 ተከታታዩ ላንድ ክሩዘር እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1984 የተመረተ ነው። የመጨረሻዋ እንኳ ዛሬ ከብዙ አሽከርካሪዎች በዕድሜ ትበልጣለች። ሶማሌ ተራ ዞራችሁ ዕቃው ቢገኝም ብዙ ጊዜ እንደ እናንተዋ ካረጀች ሌላ መኪና የተፈታ፣ እኩል የተበላ ነው። እኔም ዕቃ መሥራት የጀመርኩት ቸግሮኝ ነበር፤ አሁን ቅዳሜን የምጠብቀው ለእሱ ሆኗል። ይህችን ቆብ ለብዙ ሞዴሎች ዛሬም አዲስ ማግኘት ይቻላል፤ ካገኛችሁ ግዙ። ለመለማመጃ የመረጥኳት ሥራው ቢበላሽ ሰው ስለማትጎዳ ነው።

መጀመሪያ፣ የማትነኩትን ለዩ

የፍሬን ማንኛውም ክፍል፣ የመሪ ዘንጎችና ጫፎቻቸው፣ ቸርኬን ወደ ውጭ የሚገፋ ስፔሰር፣ የደህንነት ቀበቶ የሚታሰርበት ቦታ፦ እነዚህን በትርፍ ጊዜ አንሠራም። ቶርኖ ቤት (ብረት እያሽከረከሩ የሚቀርጹበት ቤት) ብትጠይቁ «ይሠራል» ትባላላችሁ፤ እውነትም ይሠራል። ግን ዓባይ በረሃ ቁልቁለቱ መሃል ላይ ሲሰበር መሪውን የያዛችሁት እናንተ ናችሁ። ለእጅ መፍቻ የሚሆኑት የማርሽ ዘንግ ቆብ፣ የበር ማጠፊያ ቦኮላ፣ የጀሪካን ማሰሪያ፣ የማብሪያ ማጥፊያዎች ሰሌዳ፣ ከወረቀት የሚቆረጥ ጓርኒሲዮን (በሁለት ብረት መሃል ገብቶ ፍሳሽ የሚከለክል) ናቸው።

ዘንጉን ማውጣት

መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁሙ፤ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ፤ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ። በዘንጉ ዙሪያ ያለውን አቧራና ጭቃ ከመክፈታችሁ በፊት በብሩሽና በናፍጣ አጽዱ፤ አለበለዚያ ያ ሁሉ ወደ ካምቢዮው ይገባል። በብዙዎቹ ላይ ዘንጉን የሚይዘው ክዳን ወደ ታች ተጭነው ሲያዞሩት ይለቃል። ዘንጉ እንደወጣ ቀዳዳውን በንጹህ ጨርቅ ድፈኑት። አንዲት ዳዶ እዚያ ውስጥ ብትወድቅ የአንድ ሰዓቱ ሥራ የሦስት ቀን ይሆናል። የተሰባበረ አሮጌ ፕላስቲክ ካለም ቁርጥራጮቹን ሰብስባችሁ ግጠሟቸው፤ የጎደለው ካምቢዮው ውስጥ ነው ማለት ነውና ፈልጋችሁ አውጡት።

መለካት

ሥራው ያለው እዚህ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳሠራ አሮጌዋን ቆብ በወረቀት ጠቅልዬ ለቶርኖ ባለሙያው ሰጠሁትና «ልክ እንደዚህ» አልኩት። ልክ እንደዚያ ሠራልኝ። የአሮጌዋ የውጭ ስፋት 17.2 ሚሊሜትር ነበር፤ አዲሷም 17.2 ሆና መጣች። ዘንጉን መልሼ ስገጥመው ማማሰያው እንደ በፊቱ ዞረ። ሰውየው ምንም አላጠፋም፤ የሃያ ዓመት መበላትን በጥንቃቄ ያስገለበጥኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ የተበላውን ዕቃ አትመኑ፤ የሚቀመጥበትን ቤት ለኩ። ዲጂታል ባይሆንም ደህና ካሊብሮ (በመንጋጋ የሚይዝ የሚሊሜትር መለኪያ) ይበቃል። የዘንጉን ጫፍ እንክብል በሦስት አቅጣጫ ለኩና ትልቁን ቁጥር ያዙ፤ ብረት ሲበላ ያንሳል እንጂ አይጨምርም። ቆቧ የምትገባበትን የካምቢዮውን ስንጥቅ ደግሞ በተቃራኒው፦ መሃሉ በመፋተግ ሊሰፋ ስለሚችል ዳርና ዳሩን ለኩ። ከአሮጌዋ የሚጠቅማችሁ ፍትጊያ ያልነካው ቦታ ብቻ ነው፤ ጥልቀቷ፣ የከንፈሯ ውፍረት፣ የጠርዟ ቅርጽ። ያልተበላ ቦታ መሆኑን በጥፍራችሁ ዳስሳችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከፋብሪካ የወጣው ገጽ ሸካራ ነው፣ የተፋተገው እንደ መስታወት ያበራል።

ለምሳሌ እንክብሉ 13.9፣ ስንጥቁ 18.0 ሚሊሜትር ቢሆን፣ የቆቧን ውስጥ 13.85፣ ውጭዋን 17.85 አደርጋለሁ። እንክብሉ ላይ ጠበቅ፣ ስንጥቁ ውስጥ ትንሽ ላላ ትላለች። እነዚህ ቁጥሮች ለምሳሌ ናቸው፤ የእናንተን ራሳችሁ ለኩ።

ምን ዓይነት ፕላስቲክ

ገበያ ላይ ነጭ የፕላስቲክ ዘንግ ሁሉ «ቴፍሎን» ሊባልላችሁ ይችላል። እውነተኛው ቴፍሎን ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ለስላሳ ስለሆነ ጫና ሲበዛበት ቅርጹን ይለቃል፤ ጥፍር ያጭረዋል፣ በእጅ ሲይዙትም ከመጠኑ በላይ ይከብዳል። ናይለን ጠንካራ ነው፤ ክፋቱ እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል። እኔ የምመርጠው አሲታልን ነው፤ ብዙዎች በንግድ ስሙ ዴልሪን ይሉታል። ዘይት አይነካውም፣ እርጥበት ብዙም አያሳብጠውም፣ ቶርኖ ላይም እንደ ቅቤ ይቆረጣል። ጥርጣሬ ከገባችሁ ቁራጩን ውሃ ውስጥ ጣሉት፤ ከተንሳፈፈ ፖሊኤቲሊን ወይም መሰሉ ነው፣ ተዉት። አቃጥላችሁ በጠረኑ ለመለየት ግን አትሞክሩ፤ አሲታል ሲቃጠል ፎርማልዲሃይድ የሚባል ጎጂ ጋዝ ያወጣል።

«ለምን ከነሐስ አናሠራትም፣ ዕድሜ ልክ ትኖር የለ?» የሚል ሁልጊዜ አይጠፋም። ትኖር ይሆናል፤ ግን የሞተሩን ንዝረት ሁሉ ወደ መዳፋችሁ ታመጣዋለች፣ በእሷ ፈንታም የሚበላው የካምቢዮው ብረት ይሆናል። ፕላስቲኳ እዚያ የተቀመጠችው እንድትበላ ነው።

ከቶርኖ ባለሙያው ጋር

ናሙና ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ በአንድ ወረቀት ላይ ከጎንና ከላይ የሚታይ ሥዕል ሠርታችሁ ሂዱ። በጥብቅ የምትፈልጓቸውን ሁለት ልኮች አክብቡ፣ የሚፈቀደውንም ልዩነት ጻፉ፦ «ከ0.05 አይበልጥ»። የቀሩትን በግምት እንዲሠራቸው ንገሩት። ሁሉንም በጥብቅ ካላችሁ ዋጋው ይንራል፣ ባለሙያውም አንዱንም በቁም ነገር አያየውም።

ሦስት ነገር ጠይቁት። ውስጡንና ውጭውን ሳይፈታ በአንድ አያያዝ ይጨርሰው፤ ፈትቶ ካሰረው መሃሉ ይዛነፋል። መቁረጫው የተሳለ ይሁን፤ የደነዘዘ ፕላስቲኩን ያሞቀዋል። የመጨረሻውን ልክ ከመውሰዱ በፊት ዕቃው ይቀዝቀዝ፤ ፕላስቲክ በሙቀት ከብረት ብዙ እጥፍ ስለሚሰፋ ሞቆ የተለካው ሲቀዘቅዝ ያንሳል። «ወንድሜ፣ ሻይ ጠጥተን እንለካው» ብትሉት አይከፋውም።

ውጭ አገር የምትኖሩና ስሪ ዲ ፕሪንተር ያላችሁ፣ መጀመሪያ በፒ ኤል ኤ (በተለመደው የፕሪንተር ፕላስቲክ) አትማችሁ ልኩን መሞከር ትችላላችሁ። እዚያው መኪናው ላይ ግን አትተዉት፤ ፒ ኤል ኤ 60 ዲግሪ ገደማ ላይ ይለሰልሳል፣ የካምቢዮ ዘይት ደግሞ ከዚያ በላይ ሊሞቅ ይችላል።

መግጠም

ቆቧን ፈልቶ በወረደ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አቆዩና በእጅ ግፊት እንክብሉ ላይ አልብሷት፤ መዶሻ አያስፈልግም። ስትበርድ በጣት ስትዞር ትንሽ መያዝ አለባት። ጨርቁን ከቀዳዳው አንሱ (ረስቶት የገጠመ ሰው አውቃለሁ፤ ስሙን አልናገርም)፣ ትንሽ ግሪስ ቀቡና ዘንጉን መልሱ። ሞተሩን ሳታስነሱ ሁሉንም ማርሽ፣ የኋላውንም ጨምሮ፣ አስገቡና አውጡ። አንዱ ከከበደ ቆቧ ወፍራለች ማለት ነው፤ በጉልበት አትግፉት፣ አውጥታችሁ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ጥቂት ፈግፍጓት።

ከዚህ በኋላ ላሜራ

ቆቧ ከተሳካች ቀጣዩ የ20 ሊትር ጀሪካን ማሰሪያ ይሁን። በካርቶን ጀምሩ፤ ቆርጣችሁ፣ አጥፋችሁ፣ መኪናው ላይ ለጥፋችሁ በሩ ሲከፈት እንደማይነካው እዩ፣ ከዚያ ወደ 3 ሚሊሜትር ላሜራ ገልብጡት። ውሃው ብቻውን 20 ኪሎ ነው፤ ኮረኮንች ላይ ደግሞ እጥፍ ሆኖ ይጎትታል። የሚሰነጠቀው ሁልጊዜ ወደ ውስጥ በሹል የታጠፈ ማዕዘን ላይ ስለሆነ፣ እዚያ መጀመሪያ ክብ ቀዳዳ በስታችሁ ወደ ቀዳዳው ቁረጡ።

ብሎን ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከተራ ብረታ ብረት ሱቅ የምትገዙት 10 ሚሊሜትር ብሎን አብዛኛውን ጊዜ የጥርሱ ርቀት 1.5 ነው፤ የጃፓን መኪኖች ላይ ግን ብዙ ጊዜ 1.25 ነው። ሁለት ዙር ገብቶ ይከብዳል፤ በቁልፍ ከገፋችሁት የመኪናዋን ጥርስ ትበሉታላችሁ። ከአንዱ ጥርስ ጫፍ እስከ አሥራ አንደኛው ጫፍ በካሊብሮ ለኩ፤ 12.5 ሚሊሜትር ከመጣ ባለ 1.25 ነው። የድሮ ላንድ ሮቨር ያላችሁ ደግሞ የኢንች ጥርስ ነው የሚጠብቃችሁ። አካሏም አሉሚኒየም ስለሆነ ከብረቱ ማሰሪያ መካከል ጎማ አስገቡ፤ ሁለቱ ብረቶች በእርጥበት ከተነካኩ አሉሚኒየሙ እንደ ዱቄት እየነጣ ይበላል።

መኪናዋ ላይ የምትበይዱ ከሆነ አስቀድማችሁ ባትሪውን ንቀሉ፤ የብየዳውን መሬት ሽቦ እዚያው ከምትበይዱበት አጠገብ እሰሩ፤ ራቅ ካለ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታ (ዘንግ በሚሽከረከርበት ባለ ኳስ ቀለበት) በኩል ሊያልፍና ሊያበላሸው ይችላል። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ከሆነ ቅቡን ፈግፍጋችሁ አንሱ፣ ነፋስ ባለበት ቦታ ሥሩ፤ ጭሱ ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጣል። በያጆች የሚጠጡት ወተት ይህን አይከላከልም።

ቆቧን ስታሠሩ ሁለት አሠሩ። የቶርኖ ባለሙያው ጊዜ የሚሄደው ማሽኑን በማስተካከል ስለሆነ ሁለተኛዋ በጥቂት ብር ትጨመራለች። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ዘንጉን አንድ ጊዜ አውጡና ያበራውን ቦታ እዩ፤ ዙሪያዋን እኩል ካበራች ልካችሁ ትክክል ነበር፤ በአንድ ጎኗ ብቻ ካበራች ደግሞ ለሁለተኛዋ የምታስተካክሉትን ቁጥር ሥዕሉ ላይ በቀይ ጻፉት።