እናታችሁን ለመርሳት በሽታ ምርመራ ከመውሰዳችሁ በፊት

አሜሪካ ሆናችሁ እናታችሁን ለዚህ ምርመራ የምትወስዱ ካላችሁ፣ አንድ ነገር እወቁ። ሐኪሙ የሚሰጠው የማስታወስና የማሰብ ፈተና ከ30 ይታረማል፤ ነጥቡ ላይ ግን ዕድሜም፣ ትምህርትም፣ ቋንቋም ይገባበታል። እ.ኤ.አ. በ1993 እዚያው አሜሪካ የወጣ ጥናት ኤምኤምኤስኢ በሚባለው ፈተና ዘጠኝ ዓመትና ከዚያ በላይ የተማሩት መካከለኛ ውጤታቸው 29፣ ከአራት ዓመት በላይ ያልተማሩት ደግሞ 22 እንደሆነ አሳይቷል። ብዙ ሐኪም የሚጠረጥረው ከ24 በታች ሲሆን ነው። እንግዲህ ፊደል ያልቆጠሩ ጤነኛ እናት በሽተኛ ሊባሉ ይችላሉ። ሞካ የሚባለው ፈተና 12 ዓመትና ከዚያ በታች ለተማረ አንድ ነጥብ ይጨምራል። እስክሪብቶ ጨብጠው ለማያውቁ ሰው አንድ ነጥብ ምን ይፈይዳል?

ስለዚህ ፈተናው ሳይጀመር ስንት ዓመት እንደተማሩ፣ ማንበብና መጻፍ ይችሉ እንደሆነ ተናገሩ። ፋይላቸው ላይ ይጻፍ በሉ። መነጽራቸውንና የጆሮ መስሚያቸውን እንዳትረሱ።

ሰዓቱና ቀኑ ላይ ንቁ። ሞካ 11:10 የሚያሳይ ሰዓት ሳሉ ይላል። አስተርጓሚው ቃል በቃል «አስራ አንድ ሰዓት ከአስር» ካላቸው፣ እናታችሁ አጭሩን ዘንግ 5 ላይ ያደርጉታል፤ በእኛ አቆጣጠር ልክ ናቸው፣ ወረቀቱ ላይ ግን ስህተት ተብሎ ይያዛል። ዓመተ ምህረቱን ሲጠየቁም በሀገር ቤት አቆጣጠር ቢመልሱ ያው ነው። ይህን ለሐኪሙ ቀድማችሁ አስረዱ።

እናንተ አታስተርጉሙ። ሳናስበው መልስ እንጠቁማለን፣ ያሉትንም እናሳምራለን። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ቀጠሮ ስትይዙ ጠይቁ።

ሩዳስ የሚባል ፈተና እንዳላቸውም ጠይቁ። ሲድኒ ውስጥ ከተለያየ ባህል ለመጡ ሰዎች የተሠራ ነው። ሻይ፣ ዘይት፣ እንቁላል፣ ሳሙና የሚል የገበያ ዝርዝር ያስይዛል፣ መንገድ እንዴት እንደሚሻገሩ ይጠይቃል። 22ና ከዚያ በታች ያጠራጥራል። ሥዕል ስላለበት እሱም ቢሆን ፍጹም አይደለም፣ ግን ለእኛ እናቶች የተሻለ ይመስለኛል።

ከሁሉም በላይ ቤት ውስጥ የተለወጠውን ጻፉና ይዛችሁ ሂዱ። ከዓመታት በፊት ቡና ሲያፈሉ ማንም የማይደርስባቸው ሴት ዛሬ ቆልተው መውቀጡን ይረሳሉ? ወጡ ላይ ጨው ሁለቴ ይጨምራሉ? የእድር ገንዘብ ከፍለው እንደገና ሊከፍሉ ይነሳሉ? ብዙ የተማረ ሰው 28 አምጥቶም ሊታመም ስለሚችል፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ አባታችሁ ጥሩ ነጥብ ቢያመጡም ቤት ያያችሁትን ከመናገር ወደኋላ አትበሉ።

ነጥቡ ዝቅ ካለ ምክንያቱ ሌላ እንዳይሆን የቫይታሚን ቢ12ና የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) የደም ምርመራ፣ የድብርት ምርመራም እንዲደረግላቸው ጠይቁ፤ የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ በከረጢት ይዛችሁ ሂዱና አሳዩ።