ቤተሰብና የዊንድሰርፊንግ ዕቃ የሚጭን መኪና ስትመርጡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የምንኖረው ፖርትላንድ፣ ኦሪገን ነው። ሰመር ሲገባ ቅዳሜ ጠዋት ተነስተን በ84 ቁጥር ሀይዌይ ወደ ምሥራቅ አንድ ሰዓት ያህል ነድተን ሁድ ሪቨር እንገባለን። ኮሎምቢያ ወንዝ እዚያ ላይ ተራራውን ሰንጥቆ ያልፋል። ከተራራው ወዲያ ያለው ደረቅ አገር በፀሐይ ሲግል ቀዝቃዛውን የውቅያኖስ አየር በሸለቆው በኩል ይስበዋል። ነፋሱ በጠባቡ መንገድ ሲያልፍ ይበረታል። ዊንድሰርፊንግ፣ ማለትም ሸራ በተተከለበት ቦርድ ላይ ቆሞ በነፋስ ኃይል ውሃ ላይ መንሸራተት፣ የሚወድ ሰው ከሩቅ አገር ሳይቀር እዚያ የሚመጣው ለዚህ ነው።

እኛ አምስት ነን። ባለቤቴ፣ እኔ፣ የ11 ዓመት ልጃችን፣ የ5 ዓመቷ እህቱ እና እናቴ። ከእኛ ጋር ሁለት ቦርድ፣ አራት ሸራ፣ ሦስት ምሰሶና ሁለት ቡም (ሸራው ላይ ታስሮ በእጅ የሚያዝ ዘንግ) ይጓዛል። እናቴ ደግሞ ውሃ ዳር ተቀምጣ ቡና ሳታፈላ መመለስ አይሆንላትም። ስለዚህ ጀበናው፣ ሲኒው፣ ትንሿ የጋዝ ምድጃና እንጀራውም ቦታ ይፈልጋሉ።

መጀመሪያ የገዛነው መኪና ሰባት ሰው የሚጭን ትልቅ ኤስዩቪ ነበር። ዓመት ሳይሞላው ሸጥነው፤ ከስረንም ነው የሸጥነው። ልጆች ኖሯቸው ይህን ስፖርት የጀመሩ ወዳጆቼ አሁን አሁን ምን መኪና እንደሚሻል ይጠይቁኛል። የእኔ መልስ የሚጀምረው እኛ ከተሳሳትንበት ቦታ ነው።

ወንበሩ ታጥፎ የተለካውን ቦታ ማመን

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ሻጩ የሚያሳያችሁ ትልቁ የዕቃ ቦታ ቁጥር የኋላ ወንበሮች በሙሉ ታጥፈው የተለካ ነው። ሹፌሩና ጋቢና የተቀመጠው ሰው ብቻ የሚጓዙበት መኪና ማለት ነው። ልጆቹ ገብተው ቀበቷቸውን ሲያስሩ ያ ቦታ የለም። በእኛ ኤስዩቪ ሦስቱም ረድፍ ሰው ሲይዝ ከኋላ የሚቀረው ሁለት የአስቤዛ ፌስታል ቢይዝ ነው።

ስለዚህ «ስንት ሊትር ይይዛል?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ሰዎቼ ሁሉ ተቀምጠው ረጅሙ ዕቃ በየት በኩል ያልፋል?» በሉ። በዊንድሰርፊንግ ረጅሙ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ ቦርዱና ምሰሶው ናቸው። 460 ሴንቲ ሜትር ምሰሶ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ግማሽ 2 ሜትር ከ30 ገደማ ነው። የዛሬ ቦርዶችም ብዙዎቹ ከዚያ ብዙ አይርቁም። የጀማሪ ቦርድ ግን ረዘም፣ ሰፋ ይላል።

ለእኛ መልስ የሆነልን ሚኒቫን ነው፤ መካከለኛው ረድፍ ሁለት የተለያዩ ወንበሮች ያሉት። በሁለቱ ወንበሮች መሀል መተላለፊያ አለ። ሦስተኛው ረድፍ ለሁለት ተከፍሎ ይታጠፋል፤ ትልቁን ክፍል አጥፈን ትንሹን እንተዋለን። እናቴና ትንሿ ልጅ መሀል ላይ፣ ትልቁ ልጅ ከኋላ በቀረችው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ምሰሶው፣ ሸራውና ቡሙ በመሀል ተዘርግተው በጋቢናዎቹ መካከል ብቅ ይላሉ። መካከለኛው ረድፍ አንድ ወጥ ወንበር ቢሆን ኖሮ ይሄ መንገድ ይዘጋ ነበር።

ሚኒቫን ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ሆንዳ ኦዲሲ ላይ መካከለኛ ወንበሮቹ ይወጣሉ፤ ከባድ ስለሆኑ ግን ማውጣቱ ሁለት ሰው ቢኖረው ይሻላል። ቶዮታ ሲዬና ከ2021 ሞዴል ወዲህ ሃይብሪድ (ቤንዚንና ኤሌክትሪክ አጣምሮ የሚሠራ) ብቻ ሆኗል። ነዳጅ ይቆጥባል፤ መካከለኛው ወንበር ግን እንደ ድሮው አይነቀልም። ክራይስለር ፓሲፊካ በቤንዚን ብቻ የሚሄደው ላይ መካከለኛው ወንበር ወለል ውስጥ ይገባል፤ ቻርጅ የሚደረገው ሃይብሪድ ላይ ግን ያንን ጉድጓድ ባትሪው ይዞታል። ስሙ አንድ ስለሆነ ብቻ አንድ ዓይነት መኪና ነው ብላችሁ አትፈርሙ።

ዕቃውን ሳይዙ መኪና ማየት

ሁለተኛውን መኪና ልናይ ስንሄድ ምሰሶውን፣ አንድ ቦርድና የልጅቷን የመኪና ወንበር ይዘን ሄድን። ሻጩ መጀመሪያ ግራ ገባው። እናቴን መሀል አስቀመጥናት። የልጅቷን ወንበር አሰርን። ከዚያ ምሰሶውን ከኋላ በር ቀስ እያልኩ አስገባሁት። በዚያ ቀን መጀመሪያ የሞከርነው መኪና ላይ ጫፉ በጋቢናዎቹ መሀል ካለው ሳጥን ጋር ተጋጨ፤ የኋላው በር ሊዘጋ አራት ጣት ቀረው። አራት ጣት ብቻ! በሜትር ብንለካው ኖሮ «ይገባል» ብለን እንገዛው ነበር። ሌላውን ሞከርን፤ በሩ ተዘጋ። ያንኑ ገዛን።

የልጅ ወንበር ማሰሪያውንም እዚያው እዩት። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሁሉም ቦታ የወንበር መያዣ ብረትና የላይኛው ማሰሪያ ነጥብ የለውም። ዕቃ ለማስገባት የምታጥፉት ወንበር ብቸኛው መያዣ ያለው ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ሁሉንም ፖርቶመጋላ ላይ መጫን

ከአገር ቤት ስንመጣ ዓይናችን የለመደው ነው፤ ፍራሽም፣ ጆንያም፣ በግም አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ሲጫን አይተን አድገናል። የቤት መኪና ጣሪያ ግን የራሱ ልክ አለው። ብዙዎቹ ላይ 75 ኪሎ አካባቢ ነው፤ ያነሰም አለ። የአግዳሚ ብረቶቹ ክብደትም እዚያ ውስጥ ይቆጠራል። የእናንተን መኪና ልክ ከመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ አንብቡ።

የሹፌሩን በር ስትከፍቱ ደግሞ የበሩ ፍሬም ላይ የተለጠፈ ወረቀት ታገኛላችሁ። ሰውና ዕቃ በአንድ ላይ ከዚህ ክብደት አይበልጥ የሚለው ቁጥር እዚያ አለ። አምስት ሰው፣ ሁለት ሰው የሚጠቀምበት ዕቃ፣ ውሃና ምግብ ስትደምሩ ቁጥሩ ቶሎ ይሞላል። ሰባት ወንበር አለው ማለት ሰባት ሰውና የሰባት ሰው ዕቃ ይችላል ማለት አይደለም።

እኛ ጣሪያ ላይ የምንጭነው ቦርዶቹን ብቻ ነው። ፊኑን (ከቦርዱ ሥር ያለውን ትንሽ ክንፍ) እንፈታለን። የሚረገጠውን ፊት ወደ ታች እናደርገዋለን፤ ያኔ የአፍንጫው ጫፍ ወደ መስታወቱ ስለሚያጎነብስ ነፋሱ ከሥር ገብቶ አያነሳውም። ማሰሪያው ጨርቅ ነው፤ አንዴ ጠምዘዝ ካደረጋችሁት መንገድ ላይ አይጮህም። ከሁድ ሪቨር ወደ ፖርትላንድ ስንመለስ ነፋሱ ፊት ለፊት ነው የሚመጣው። ጣሪያው በተጫነ ቀን ነዳጁ ሲወርድ በዓይን ይታያል። ኤሌክትሪክ መኪና የምታስቡ ከሆነ ይህን የመልስ ጉዞ አስሉት።

የዕቃ ቫን ገዝቶ ወንበር መግጠም

ይህን በጣም ነው የምፈራው። ፎርድ ትራንዚት ወይም መርሴዲስ ስፕሪንተር የዕቃ ቫን ያገለገለው ረከስ ባለ ዋጋ ይገኛል፤ ቦታውም ሰፊ ነው። አገር ቤት ዶልፊንና አባዱላ የምንላቸው ቶዮታ ሃያሶች አሜሪካ ስለማይሸጡ ልባችን ወደ እነዚህ ያደላል። የዕቃ ቫን ግን ከኋላው ለሰው አልተሠራም። ወለሉ ላይ በቡሎን የታሰረ ወንበር በግጭት ጊዜ ከነልጁ ሊነቀል ይችላል። ለሰው የተሠራውን ቫን ፈልጉ፤ ወይም ወንበሩንና ቀበቶውን መመዘኛውን አሟልቶ በሚገጥም ባለሙያ አሠሩ። ገና ሳትገዙም ለኢንሹራንሳችሁ ደውላችሁ ጠይቁ።

ከዚሁ ጋር፣ ከልጅ ራስ ጀርባ ያልታሰረ ዕቃ አይኑር። ድንገት ፍሬን ሲያዝ ምሰሶ እንደ ጦር ነው የሚመጣው። መኪናው ወለሉ ላይ ማሰሪያ ቀለበት ከሌለው ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ነፋሱንና አሮጊቷን መርሳት

ዊንድሰርፊንግ የሚሄድ ሰው የሚያቆመው ነፋስ ያለበት ቦታ ነው። ነገሩ ግልጽ ይመስላል፤ መኪና ስንገዛ ግን ያሰበው የለም። በኤስዩቪው ጊዜ ልጄ በሩን ሲከፍት ነፋሱ ከእጁ ነጥቆት አጠገባችን የቆመውን መኪና መታ። ጣቱ ተርፏል፤ ያ ለእኔ ይበቃኛል። ተንሸራታች በር ይህን ችግር ሙሉ በሙሉ ያስቀራል። የመኪናውን አፍንጫ ወደ ነፋሱ አድርጋችሁ ስታቆሙ ደግሞ ከኋላ ጋብ ያለ ቦታ ታገኛላችሁ። የእናቴ ጀበና የሚጣደው እዚያ ነው።

እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ኤስዩቪው ላይ ለመውጣት በአንድ እጇ እኔን፣ በሌላው በሩን ትይዝ ነበር። «ልጄ፣ እኔ ቤት ልሁን፤ እናንተ ሂዱ» ያለችን ቀን ነው መኪናው እንደማይሆነን የገባኝ። ሚኒቫኑ ወለሉ ዝቅ ያለ ነው፤ ቁጭ ብላ እግሯን ታስገባለች። የሰው መውጫና መግቢያ ከሸራው በፊት መለካት ነበረበት።

መኪናችሁ ምድር ቤት ጋራዥ ውስጥ የሚቆም ከሆነ መግቢያው ላይ የተጻፈውን ከፍታ እዩ። ብዙዎቹ 2 ሜትር አካባቢ ናቸው። ከፍ ያለ ጣሪያ ያለው ቫን አይገባም፤ ሚኒቫንም ቢሆን ቦርድ ጭኖ ላይገባ ይችላል።

ሙቀቱንና እርጥበቱን አለማሰብ

ቦርድ ውስጡ ፎም ነው። በተዘጋ መኪና ፀሐይ ላይ ሲውል ውስጡ ያለው አየር ያብጣል፤ ቆዳው ከፎሙ ሊላቀቅ ይችላል። ስለዚህ መኪናው ውስጥ ዘግታችሁት አትሂዱ። የአየር ማስወጫ ቡሎን ካለው ለጉዞ ላላ አድርጉት፤ ውሃ ከመግባታችሁ በፊት ማጥበቅ ግን አትርሱ። የሸራው ግልጽ ፕላስቲክም ሙቀት አይወድም።

እርጥብ የዋና ልብስ ምንጣፍ ላይ ከተጣለ ሽታው ሳምንቱን ሙሉ አይለቅም። የጎማ ምንጣፍና ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳጥን ይበቃል። ለዚህ ብላችሁ ውድ የሆነውን የመኪና ደረጃ አትግዙ።

ለዘንድሮው ዕቃ ብቻ መግዛት

በ1970ዎቹ የነበረው የመጀመሪያው ዊንድሰርፈር ቦርድ 3 ሜትር ከ65 ያህል ነበር። በዚያ ዘመን የተሰጠ የመኪና ምክር ዛሬም ሲነገር እሰማለሁ። ዕቃው ግን አጥሯል፤ አሁንም እያጠረ ነው። ልጄ ባለፈው ሰመር ዊንግ ፎይል ጀመረ፤ በእጅ የሚያዝ ክንፍ ነፋሱን ይይዛል፣ ከቦርዱ ሥር ያለው ፎይል ደግሞ ቦርዱን ከውሃው በላይ ያነሳዋል። ክንፉ በአየር የሚነፋ ነው፤ ሲተነፍስ ጀርባ ላይ በሚታዘል ቦርሳ ይገባል። ፎይሉ ተፈታትቶ ትንሽ መያዣ ውስጥ ይቀመጣል። ቦርዱ ከእሱ ቁመት ብዙም አይበልጥም። እሱ ሙሉ በሙሉ ወደዚያ ከዞረ ከሁለት ዓመት በኋላ የእኛ መሀል መተላለፊያ ግማሽ ባዶ ይሆናል። ለዚህ ነው ትልቅ ቫን በስድስት ዓመት ብድር ከመግዛት ያገለገለ ሚኒቫን የመረጥነው።

ከመፈረማችሁ በፊት ቁልፉንም ጠይቁ። የዛሬ መኪና ቁልፍ ኤሌክትሮኒክ ነው፤ ውሃ ከገባበት ሁድ ሪቨር ላይ ቆማችሁ ትቀራላችሁ። በሩን ብቻ የሚከፍት ተራ የብረት ቁልፍ ውስጡ ካለ ባለቤቴ እሱን በአንገቷ አንጠልጥላ ወንዙ ውስጥ ትገባለች፤ ኤሌክትሮኒኩ እናቴ ጋር፣ ከሲኒው ሳጥን ውስጥ ይቆያል።