ከጥቁር ውኃ ዳር፦ የውኃ ዳር መናፈሻ ሲያለሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከሻሸመኔ ወደ ሐዋሳ የመጣ ሰው ሁሉ የጥቁር ውኃን ድልድይ ተሻግሯል፤ አብዛኛው ግን በመኪና መስኮት አይቶ ያልፈዋል። በዳርቻው ላይ ዶማ ለማንሣት ያሰበ ሰው ግን ወንዙ ለሐይቁ ምን እንደሆነ አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል። ዓመቱን ሙሉ ሳይደርቅ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ የሚገባው ወንዝ ይህ አንድ ብቻ ነው። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ደግሞ የለም። ስለዚህ የገባው ሁሉ፣ ደለሉም፣ ላስቲኩም፣ የሳሙና ውኃውም፣ እዚያው ይቀራል። ቀድሞ ከላይ ሆኖ ደለሉን ያስቀር የነበረው ጨለለቃ ሐይቅነቱ ቀርቶ ዛሬ ረግረግ ሆኗል። በወንዙና በሐይቁ ዳር የቀረችው አረንጓዴ ጥብጣብ ለውኃው የመጨረሻዋ ወንፊት ናት።

የሰፈር ወጣቶች፣ የእድር አባላትና ጥቂት መምህራን ሆነን፣ ወንዙ ከሐይቁ ከሚገናኝበት ብዙም በማይርቅ ቦታ የተጎዳች አንዲት መናፈሻ ማልማት ከጀመርን ዓመታት ተቆጥረዋል። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹን እኛው ራሳችን ሠርተናቸዋል። ሌላ ቡድን ያንኑ ዋጋ ደግሞ እንዳይከፍል ከልቤ ስለምፈልግ ነው የምጽፈው።

ፊላውን እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ መመንጠር

ከሁሉ የከፋው ይህ ስለሆነ አስቀድሜዋለሁ። በጎ ፈቃደኛ በተሰበሰበበት ጉልበት አለ፣ ማጭድና ገጀራም አይጠፋም። መጀመሪያ ዓይን የሚገባው ደግሞ ውኃው ዳር ጥቅጥቅ ብሎ የቆመው ፊላ፣ ሸምበቆና ደንገል ነው። ፌስታልና የሃይላንድ ጠርሙስ ተሰግስጎበታል፣ ይሸታል፣ ውኃውንም ይከልላል። «ይነሣና ዳሩ ወለል ብሎ ይታይ» ይባላል። እኛም አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሠላሳ ሜትር ያህል መነጠርን። ዳሩ ወለል አለ፤ ፎቶ ተነሣን፤ ደስ አለን።

እረፍት ላይ ሳለን አንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ ታንኳቸውን አስጠግተው ወረዱ። ከክምሩ አንድ የፊላ ግንድ መዘው ከሥሩ ከፍ ብሎ የተለጠፈበትን አረንጓዴ ዝልግልግ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ፋቅ አድርገው አሳዩን። «ልጆቼ፣ የቀረሶ ልጅ የሚለቅመው ይህን ነው። የሚደበቀውም እዚሁ ውስጥ ነው። አሁን የት ይግባ?» አሉን። የሚመልስ ሰው አልነበረም።

ቀረሶ የተባለው ዓሣ የሚራባው ጥልቀት በሌለው የውኃ ዳር ነው። እናቲቱ ዕንቁላሉን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹ ከአፏ ሲወጡ ደግሞ ከአምባዛና ከወፍ የሚሸሸጉት በዚህ ሣር መካከል ነው። ፊላ ከዚህም ሌላ ብዙ ይሠራል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ የሚመጣውን ማዕበል ይሰብራል፤ ሥሩ አፈሩን ጠፍሮ ይይዛል፤ ጎርፉ ይዞት የሚመጣውን ጭቃ አዝግሞ ያስቀራል፤ ከእርሻና ከፍሳሽ የሚመጣውን ማዳበሪያነት ያለውን ነገርም ይመጥጣል። እኛ ያጸዳናት ሠላሳ ሜትር በቀጣዩ ክረምት ተሸርሽራ ሁለት እርምጃ ያህል ወደ ውስጥ ገባች። ዳር ላይ የተከልናቸው ችግኞችም ከነአፈራቸው ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ደንባችን ይህ ነው፤ ላስቲኩ በእጅ ይለቀማል፣ ፊላው ባለበት ይቆያል። ሰው ውኃውን ማየት ስለሚፈልግ ሁለት ወይም ሦስት ሜትር ስፋት ያላቸው ጥቂት መስኮቶችን እንከፍታለን። ስናጭድም ከውኃው በላይ ሁለት ስንዝር እናስቀራለን። ከውኃ በታች የተቆረጠ ፊላ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ይህችን አንዲት ነገር ብቻ ብናውቅ ኖሮ ያ ዳርቻ ይተርፍ ነበር።

የተከላውን ቀን የሥራው መጨረሻ ማድረግ

አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ችግኝ ተከላ እንደ በዓል የሚታይ ሆኗል፤ ልጅ አዋቂው ሐምሌ ላይ ሲወጣ ማየት ያስደስታል። የሚያሳዝነው ጥር ላይ ነው። አንድ ጥር እንጨት ሆነው ከቀሩት ችግኞቻችን አንዱን ሳብ ሳደርገው ያለ ምንም ትግል ወጣ። ጥቁሩ ላስቲክ እንዳለ ነበር። ሥሩ በላስቲኩ ውስጥ እንደ ገመድ ተጠምጥሞ ከጥቅልሉ ሳይወጣ ደርቋል። ጎን ለጎን ያሉትን አምስት ነቀልኩ፤ ሦስቱ እንደዚያው ነበሩ። የተከሉት ሰዎች ክፉ አላሰቡም፤ በዚያ ቀን ለመትከል የመጣው ሕዝብ ብዙ ስለነበረና ስለተጣደፍን ማንም አላሳያቸውም።

አሁን ጉድጓዱን የምንቆፍረው ከተከላው ሁለት ሦስት ሳምንት ቀድመን ሰኔ ላይ ነው። ስፋቱም ጥልቀቱም ቢያንስ 40 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የላዩ ጥቁር አፈር ለብቻ ይቀመጣል፤ ሲመለስ ከሥር የሚገባው እሱ ነው። ላስቲኩ በምላጭ ከላይ እስከ ታች ተቀዶ ይወጣል፤ የተጠማዘዘ ሥር ካለ ጫፉ ይቆረጣል። ችግኙ በላስቲኩ ውስጥ ከነበረበት ከፍታ በላይ አይቀበርም። አፈሩ በእግር ጠበቅ ጠበቅ ይደረጋል። የወጣው ላስቲክ ደግሞ ተቆጥሮ ይመለሳል፤ መቶ ችግኝ ከተተከለ መቶ ላስቲክ ከረጢት ውስጥ መገኘት አለበት። ላስቲኩ ሳይወጣ የተተከለ ካለ በዚህ ቆጠራ ይጋለጣል፤ ላስቲኩም ወንዝ አይገባም።

የሐዋሳ አፈር አሸዋማና በእሳተ ገሞራ ቀላል ድንጋይ የተሞላ ስለሆነ ውኃ ቶሎ ያሳልፋል። ውኃው በአንድ መቶ እርምጃ ርቀት እየታየ ችግኝ በጥማት የሚሞተው ለዚህ ነው። ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው በጋ በየቀኑ አንድ ጣሳ ከማፍሰስ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ግማሽ ጄሪካን፣ አሥር ሊትር ያህል፣ ማጠጣት ይሻላል፤ ሥሩ ውኃውን ተከትሎ ወደ ታች ይወርዳል። ዙሪያውን በታጨደ ሣር ሸፍኑት፤ ሣሩ ግንዱን ግን አይንካው። እኔ አሁን ለማንኛውም ቡድን የምለው አንድ ነው፦ የምትተክሉትን ብዛት በሐምሌ ሰው ቁጥር አትወስኑ፤ ጥር ላይ ጄሪካን የሚሸከመውን ሰው ቁጠሩና በዚያ ወስኑ። እኛ በ15 ቋሚ ሰው ከ150 በላይ አንተክልም።

ቶሎ የሚያድገውን ዛፍ መምረጥ

ባሕር ዛፍ ከችግኝ ጣቢያ በቀላሉ ይገኛል፣ ቶሎም ያድጋል። የውኃ ዳር ግን ቦታው አይደለም፤ ውኃውን አብዝቶ ይጠጣል፣ ከሥሩም ሣር እንደልቡ አይበቅልም፤ ሣር የሌለበት አፈር ደግሞ የመጀመሪያው ዝናብ ይዞት ይሄዳል።

ቦታውን በደረጃ ማየት ይጠቅማል። ውኃ የሚተኛበት ለፊላውና ለደንገሉ ይተው። ክረምት ላይ ውኃ የሚደርስበት ጠርዝ ለአኻያ ይመቻል። አኻያ ችግኝ ጣቢያም መሄድ አያስፈልገውም፤ ክንድ የሚያህል ቅርንጫፉን ቆርጦ እርጥብ አፈር ውስጥ ግማሹን መቅበር በቂ ነው። ቁልቁለት ባለበት የቬቲቨር ሣር ሸንተረሩን አቋርጦ በመስመር ይተከላል። ከዚያ ከፍ ብሎ ሾላ፣ ዋርካና ዋንዛ ይመጣሉ። በሐይቁ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል የሄደ ሰው ትልልቆቹን ዛፎችና በላያቸው የሚዘሉትን ጉሬዛዎች አይቷል፤ ያ ጥላ የስንት ዘመን ሥራ እንደሆነ እዚያ ቆሞ ማሰብ ነው። ዋርካና ሾላ ሰፊ ቦታ ይፈልጋሉና ከመንገድና ከግንብ አርቁላቸው።

ቆሻሻውን መጨረሻው ላይ መጠበቅ

በየወሩ ዳርቻውን አጽድተን በየወሩ ያንኑ እናገኝ ነበር። አንድ ቀን ዝናብ እየዘነበ ወደ ላይ ተከትለን ስንወጣ ቆሻሻው የሚመጣው ከሁለት የጎርፍ ቦዮች መሆኑን አየን። ከዚያ በኋላ ያረጀ የዓሣ መረብ በሽቦ አጠንክረን በቦዮቹ አፍ ላይ ዘረጋን። የምንለቅመው ላስቲክ በዓይን በሚታይ ሁኔታ ቀነሰ። መረቡ ግን ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ በኋላ መራገፍ አለበት፤ ከሞላ ቦዩ ተዘግቶ ጎርፉ ሰው ቤት ይገባል። የሚያራግፈው ሰው ስሙ ካልታወቀ መረቡን አለመዘርጋት ይሻላል።

የተለቀመውን እዚያው ማቃጠል የለመደ ብዙ ነው። ጭሱ መርዝ ነው፣ አመዱም ተመልሶ ውኃ ውስጥ ይገባል። ጠርሙሱን ለይታችሁ ለቆራሌው ስጡ፤ የቀረውን የቆሻሻ መኪና በሚመጣበት ቀን አውጡ።

እምቦጭ ካገኛችሁ ደግሞ ነቅላችሁ ዳር ላይ ጥላችሁት አትሂዱ። ከቅጠል ጋር የቀረች ቁራጭ ውኃ ካገኘች እንደገና ትበቅላለች፤ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ብዙ ዓመት ይቆያል። በአገራችን ይህ አረም እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃና በአዋሽ ታየ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ተመዘገበ፤ ከዚያ በኋላ ጣና ላይ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ሳያብብ ይነቀል፤ ጎርፍ ከማይደርስበት ራቅ ባለ ቦታ ተሰጥቶ ፈጽሞ ይድረቅ።

በባዶ እግር ውኃ ውስጥ መግባት

በዚህ ላይ ቸልተኝነት አይፈቀድም። ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ ቢልሃርዚያ አለ። ትሉ የሚኖረው ዳር ዳሩን በሣሩ ውስጥ ባሉ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ነው፤ ፀሐይ ሲበረታ ወደ ውኃው ይለቀቃል፤ ጤነኛ ቆዳን በስቶ ይገባል። ቁስል አያስፈልገውም። ስለዚህ ውኃ ውስጥ የሚገባ ሰው ረጅም የላስቲክ ቦቲና ጓንት ያድርግ፤ ቦቲው ስድስት ከሆነ ስድስት ሰው ብቻ ይግባ፤ ልጆች ጨርሶ አይግቡ። ውኃ የነካው ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር፤ መድኃኒቱ፣ ፕራዚኳንቴል፣ የታወቀና የሚያድን ነው።

ጉማሬም አለ። ሲመሽ ለግጦሽ ይወጣል፣ ሊነጋጋ ሲል ይመለሳል። «ፀሐይ ሳይበረታ እንጀምር» ብሎ በአሥራ አንድ ሰዓት ሌሊት ሸምበቆ ውስጥ መግባት በጉማሬውና በውኃው መካከል መቆም ማለት ነው። እኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጀምረን፣ ከሰዓት አሥር ሰዓት ላይ ዕቃ እንሰበስባለን።

ሲሚንቶና ቀለም ማብዛት

ገንዘብ የሚሰጥ ሰው የሚታይ ነገር ይፈልጋል፤ ግንብ፣ ንጣፍ፣ ቀለም የተቀባ ድንጋይ። የሐይቁ ውኃ ግን ከዓመት ዓመት ከፍና ዝቅ ይላል። ጠርዙ ላይ የተሠራ ግንብ ማዕበሉን ስለማያበርደው ውኃው ተመልሶ የግንቡን እግር ይቦረቡረዋል። ንጣፉን ከውኃው አርቁት፤ መረማመጃው ውኃ የሚያሰርግ ይሁን፤ አግዳሚ ወንበሮቹ በጥላ ሥር ይሁኑ። ገንዘቡ የተረፈ እንደሆነ ጄሪካንና ቦቲ ግዙበት።

የቦታውን ሰዎች ማባረር

መናፈሻው ሲያምር መጀመሪያ የሚባረሩት ከእኛ በፊት እዚያ የነበሩት ናቸው፤ ዓሣ አጥማጁ፣ ልብስ አጣቢዋ፣ ባጃጅ የሚያጥቡት ልጆች፣ ከብት የሚያጠጣው። አጥር ታጥሮ ሲነጋ ሽቦው ተቆርጦ ይገኛል፤ ቅሬታውም አያልቅም። ሽማግሌዎችንም ሳይጠይቁ መጀመር ትልቅ ጥፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የተመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፍቼ ጨምባላላ፣ በሐዋሳው የበዓል ሜዳ በጉዱማሌ ሲከበር የሲዳማ አባቶች በዚያ ቀን ዛፍ እንዳይቆረጥ፣ ከብትም እንዳይታረድ ያዛሉ። ለዛፍና ለውኃ እንዲህ ያለ ሥርዓት ያቆየ ሕዝብ መካከል ተቀምጦ ከባዶ እንደሚጀምር ሰው መሆን አይገባም። እኛ ዘግይተን ነው የጠየቅናቸው፤ ውኃው በየትኛው ክረምት የት ድረስ እንደወጣ በእንጨት ምልክት ተክለው ያሳዩን እነሱ ናቸው።

ለከብቶቹ አንድ መውረጃ በድንጋይ ተሠራ፤ ሌላው ዳር ዳነ። ለታንኳዎቹ ማቆሚያ ተለየ። የባጃጅ አጣቢዎቹን ጉዳይ ለመጨረስ አራት ስብሰባ ፈጀብን፤ አሁን ከውኃው ርቀው ጠጠር በተሞላ ጉድጓድ አጠገብ ያጥባሉ፤ ዘይቱና ሳሙናው በቀጥታ ወንዝ አይገባም።

የልብስ አጣቢ እናቶቹ ነገር ግን እስካሁን አልተፈታም። ውኃ ወደ ላይ ተሸክማችሁ እጠቡ ማለት ሸክም መጨመር ነው፤ ይህን እኛም እናውቃለን፣ እነሱም ነግረውናል። አንደኛዋ በስብሰባው ላይ «እናንተ ችግኝ የምታጠጡበትን ውኃ በምን ታወጣላችሁ?» ብለው ጠየቁን። በእግር የምትረገጥ ፓምፕ እንዳለችን ስንነግራቸው «እንግዲህ እሷን እዚህ አምጧትና አብረን እንጠቀም» አሉ። ድንጋይና አሸዋ ተሰብስቧል፤ ማጠቢያ ገንዳው ከውኃው ሠላሳ እርምጃ ርቆ የሚሠራበትን ቦታም እሳቸው መርጠውልናል፤ ከሰኔ በፊት ቁፋሮውን እንጀምራለን።