ያገለገለ የስፖርት ጎማ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? እንዴት እንደሚወሰን

ጥርሱ ገና ያላለቀ፣ ስመ ጥር የስፖርት ጎማ በአዲሱ ግማሽ ዋጋ ሲቀርብ ልብ መሳቡ አይቀርም። ሻጩ «ብዙ አልተነዳበትም» ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜም እውነቱን ነው። እኔን የጎዳኝ ውሸት አልነበረም። የገዛኋቸው አራት ጎማዎች በእርግጥም ብዙ አልተነዳባቸውም። ሳልጠይቅ የቀረሁት ስንት ዓመት ቆመው እንደኖሩ ነው።

ከዚያ ወዲህ ለራሴም ለወዳጆቼም ብዙ ያገለገለ ጎማ አይቻለሁ። ካስገዛሁት ይልቅ ጥዬው የሄድኩት ይበልጣል። የማይበት ቅደም ተከተል እንዲህ ነው።

መጀመሪያ፦ ይህ ዓይነት ጎማ ለእርስዎ ይሆናል?

ለሙቅ ወቅት የተሠራ የስፖርት ጎማ መንገድ አጥብቆ የሚይዘው ላስቲኩ ለስላሳ ስለሆነ ነው። የአየሩ ሙቀት ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ ይህ ልስላሴ ይቀንስና ለብርድ የተሠራ ተራ ጎማ ይበልጠዋል። በከባድ ውርጭ ደግሞ ሲታጠፍ ሊሰነጠቅ ይችላል። ቶሎም ያልቃል። በብዙ ጎማዎች ጎን ላይ «ትሬድዌር» ከሚለው ጽሑፍ አጠገብ ቁጥር አለ፤ 200 የሚለው 500 ከሚለው በጣም ቀድሞ እንደሚያልቅ ይጠብቁ። ቁጥሩን የሚሰጠው አምራቹ ራሱ ስለሆነ ግን የአንዱን ፋብሪካ ከሌላው ጋር ለማወዳደር ብዙ አልተማመንበትም። ብርድ ባለበት አገር ዓመቱን ሙሉ በአንድ ጎማ የሚነዱ ከሆነ እዚሁ ላይ ቢያቆሙ ይሻላል።

መጠኑንና የሚሸከመውን ማረጋገጥ

ይህ ከቤት ሳይወጡ የሚያልቅ ሥራ ነው። ለምሳሌ 225/45አር17 94ደብልዩ ሲል፣ ስፋቱ 225 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 45 በመቶ፣ የሚገባበት ቸርኬ 17 ኢንች ነው። 94 አንዱ ጎማ እስከ 670 ኪሎ እንደሚሸከም፣ ደብልዩ ደግሞ በሰዓት እስከ 270 ኪሎ ሜትር እንደተሠራ ይናገራል። የመኪናዎ ልክ በሾፌሩ በር ክፈፍ ወይም በመመሪያው መጽሐፍ ላይ ተጽፏል። ከዚያ በታች የሆነ ጎማ የቱንም ያህል ቢረክስ አይገዛም።

ከመሄድዎ በፊት በስልክ

ለምን እንደሚሸጡት፣ መቼ እንደገዟቸው፣ አራቱም አብረው የተገዙ መሆናቸውን፣ በእሽቅድድም ሜዳ ተነድቶባቸው እንደሆነ ይጠይቁ። «ቸርኬ ቀየርኩ»፣ «መኪናውን ሸጥኩት» ጥሩ ምክንያቶች ናቸው። መኪናው ተጋጭቶ ከሆነ ግን እኔ አልሄድም፤ በግጭት የተመታ ጎማ ውስጡ ያሉት ክሮች ተበጥሰው ከውጭ ምንም ላይታይ ይችላል። ከዚያ የአራቱንም የምርት ቀን ፎቶ እንዲልኩልዎ ይጠይቁ። የአራቱንም። ይህን ለምን እንደማጠብቀው ቀጥሎ ያለው ይነግርዎታል።

ዕድሜ፦ እኔ የወደቅኩበት

በጎማው ጎን ላይ ዲ፣ ኦ፣ ቲ ከሚሉት ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት የሚጀምር ረጅም ኮድ አለ። የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ያሳያሉ፤ 3521 ማለት በአውሮፓውያን አቆጣጠር 2021፣ 35ኛው ሳምንት ማለት ነው። የመጨረሻው ክፍል ሦስት አኃዝ ብቻ ከሆነ ጎማው ከ2000 በፊት የተሠራ ነውና እጅዎን አያሳርፉበት።

እስከዚህ ድረስ ብዙ ሰው ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ቀኑ ያለበት ሙሉ ኮድ ብዙውን ጊዜ በጎማው በአንዱ ጎን ብቻ መጻፉን ነው። በሌላኛው ጎን ኮዱ አጭር ነው፤ ቀን የለውም።

የእኔዎቹ ጎማዎች በቀስት በተመለከተው አቅጣጫ ብቻ የሚሽከረከሩ ዓይነት ነበሩ። እንዲህ ዓይነት ጎማ በግራ ሲገጠም ሙሉው ኮድ ወደ ውጭ ከዞረ፣ በቀኝ ሲገጠም ወደ ውስጥ ይዞራል። ጎማዎቹ ከነቸርኬያቸው ነበር የቀረቡልኝ። የግራዎቹን ሁለት አነበብኩ፤ ሁለት ዓመታቸው ነበር። የቀኞቹ ላይ ቀኑን ከውጭ ሳጣው «ያው አብረው የተገዙ ናቸው» ብዬ አለፍኩ። ጥርሳቸውን ለካሁ፤ የግራዎቹ 7 ሚሊ ሜትር፣ የቀኞቹ 6 ተኩል። ልዩነቱ ምንም አልመሰለኝም፤ ከፍዬ ወሰድኩ።

በደረቅ መንገድ ምንም እንከን አልተሰማኝም። የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ ዕለት ከፊቴ ያለው መኪና ድንገት ቆመና ፍሬን ያዝኩ። መኪናዬ እንደመቆም ወደ ግራ ተጎተተ፤ መሪውን ይዤ እየታገልኩ ከፊት ለፊት የሚመጣ መኪና መስመር ውስጥ ግማሹን ገብቼ ቆምኩ። መስመሩ ባዶ ስለነበረ ብቻ ተረፍኩ። ከኋላ ልጄ ተቀምጣ ነበር። ፍሬኑ ተበላሽቷል ብዬ ወደ ጋራዥ ወሰድኩት፤ ፍሬኑ ደህና ነበር። መካኒኩ በክሪክ አንስቶ የቀኝ ጎማዎቹን ከውስጥ በኩል በባትሪ አየና ኮዱን አሳየኝ፤ ሰባት ዓመት። የግራዎቹ መንገዱን ሲይዙ የቀኞቹ ይንሸራተቱ ነበር፤ መኪናው የተጎተተው ለዚህ ነው። ሻጩን ደውዬ ስጠይቀው፣ መኪናው አልፎ አልፎ ብቻ ይነዳ እንደነበረና የግራዎቹ ጉድጓድ ውስጥ ገብተው ስለተጎዱ ሁለቱ ብቻ በአዲስ እንደተተኩ ሳያቅማማ ነገረኝ። ቀድሜ ብጠይቀው ኖሮ ያኔም ይነግረኝ ነበር።

ቆሞ የኖረ ጎማ ለምን ይደርቃል? ላስቲክ ከአየር ኦክስጅን ጋር ሲነካካ እየጠነከረ ይሄዳል፤ ቢነዳም ባይነዳም። አምራቾች ላስቲኩን ከመሰነጣጠቅ የሚጠብቅ ሰም ይጨምሩበታል። ይህ ሰም ወደ ላይ ወጥቶ የጎማውን ገጽ የሚሸፍነው ግን በይበልጥ ጎማው ሲሽከረከርና ሲተጣጠፍ ነው። የቆመ ጎማ ይህን ጥበቃ በወጉ አያገኝም። ስለዚህ ጥርሱ ሞልቶ ዕድሜው የገፋ ጎማ ሲያዩ፣ የጥርሱን መሙላት እንደ መልካም ዜና አይውሰዱት። አንዳንድ ጊዜ በጎኑ ላይ የሚታየው ቡናማ ቀለም ከዚሁ መከላከያ የሚመጣ ነው፤ ብቻውን ሲታይ አያስፈራም።

ብዙ የመኪና አምራቾች ጎማ በ6 ዓመቱ እንዲቀየር ይመክራሉ። የጎማ አምራቾች ደግሞ በአብዛኛው ከ5 ዓመት በኋላ በየዓመቱ ይመርመር፣ ጥርሱ ቢኖረውም ከ10 ዓመት አይለፍ ይላሉ። አዲስ ጎማ ለሚገዛ ይህ ጣሪያ ነው። ያገለገለ ለሚገዛ ግን ገና የሚነዳባቸው ዓመታትም ስላሉ፣ የእኔ ወሰን 3 ዓመት ነው። 4 ከሆነ የት እንደተቀመጠ በዓይኔ ካላየሁ አልገዛም።

ላስቲኩን መንካት

ሁለተኛው የእርጅና መንገድ ሙቀት ነው። በእሽቅድድም ሜዳ የተነዳ ጎማ በየዙሩ ክፉኛ ይግላል፣ ከዚያ ይቀዘቅዛል፤ እንዲህ ሲደጋገም በአንድ ዓመቱም ይጠነክራል። ምልክቶቹ ይታያሉ፦ የትከሻው (ጥርሱ ከጎኑ ጋር የሚገናኝበት ክፍል) ጥርስ ጠርዝ ተድቦልቡሎ፣ ቅንጣት ቅንጣት ላስቲክ ተጣብቆበት፣ ገጹ ወደ ሰማያዊነት የሚያደላ ጥላ ይዞ ይገኛል። ሻጩ «ሜዳ አልገባሁም» ቢልዎትም ትከሻው ይህን ካሳየ የሚያምኑት ትከሻውን ይሁን።

በእርጥብ ጨርቅ ጥርሱን ይጥረጉና በጥፍርዎ ጫን ይበሉት። ጤነኛው ትንሽ ገባ ብሎ ይመለሳል፤ የደረቀው እንደ ፕላስቲክ ይገፋዎታል። ይህን የሚያጣጥሉ አሉ፤ እኔ ግን እየለመዱት ሲሄዱ ብዙ እንደሚናገር አይቻለሁ፤ በተለይ አራቱን እርስ በርስ ሲያወዳድሩበት። በብርድ ግን ሁሉም ላስቲክ ይጠነክራልና አይመዝኑበት። የላስቲክ ጥንካሬ መለኪያ መሣሪያ ያለው ጎሚስታ ካገኙ ደግሞ አራቱንም ያስለኩ፤ ከቁጥሩ ይልቅ በአራቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው የሚጠቅምዎ።

ከዚያ ጥርሶቹን በጣት ከፈት አድርገው የቦዮቹን ወለል ይመልከቱ። ስንጥቅ መጀመሪያ የሚደበቀው እዚያ ነው። ጎማው በሚያብለጨልጭ ቅባት ተቀብቶ ከጠበቀዎ ደግሞ ሳያጥቡ አይመልከቱት። ያን ቅባት እጠላዋለሁ፤ የሚሸፍነው አቧራ ብቻ አይደለም።

ውስጡን ማየት

ከቸርኬ የወለቀ ጎማ ካገኙ ዕድለኛ ነዎት። ከነቸርኬው ከሆነ ወጪውን ችለው በጎሚስታ ቢያስወልቁት ይሻላል፤ ሻጩ ይህን ከከለከለ እኔ እሰናበታለሁ። በባትሪ ውስጡን ዙሪያውን ይዩ። በውስጠኛው ጎን ዙሪያውን የተፋቀ ክብ መስመር ወይም የላስቲክ ብናኝ ካለ፣ ነፋስ ሳይኖረው ተነድቶበታል፤ ጎኑ ሞቷል፣ አይጠገንም። ከቸርኬው ጋር የሚገጥመው ከንፈር ሲወልቅ ተቀዶ እንደሆነም በጣት ይዳስሱ።

የተጠገነ ቀዳዳ ሁልጊዜ ክፉ አይደለም። ቀዳዳው በጥርሱ መካከለኛ ክፍል ላይ ሆኖ ከ6 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ፣ ቀዳዳውን የሚሞላ ግንድና ከውስጥ የሚሸፍነው ልጥፍ በአንድነት ከተደረገለት ተቀባይነት ያለው ጥገና ነው። ከውጭ በተወጋ ክር ብቻ የተደፈነውን ግን ለስፖርት ጎማ አልቀበልም፤ እንዲያው ከቤት እስኪገቡ ነው። በጎን ወይም በትከሻ ላይ የተጠገነ፣ በጎኑ ላይ እብጠት ያለበት፣ የማያጠያይቅ «አይሆንም» ነው።

ጥርሱን መለካት

የጥርስ መለኪያ ርካሽ ነው፤ ይግዙት። በሳንቲም መለካት ያለቀና ያላለቀ ከመለየት አያልፍም። በእያንዳንዱ ጎማ ላይ ውጩን፣ መሃሉንና ውስጠኛውን ጠርዝ በዙሪያው ሦስት ቦታ ይለኩ። መሃሉ ብቻ ከተበላ ነፋስ በዝቶበት፣ ሁለቱ ጠርዞች ከተበሉ ነፋስ አንሶት ነድተውታል። ውስጠኛው ጠርዝ ብቻ ከተበላ አላይመንቱ (ጎማዎቹ የቆሙበት አቅጣጫና ዘንበልታ) የተዛባ ነው፤ በስፖርት መኪና ላይ ይህ በጣም ይበዛል፤ ከውጭ ስለማይታይም ብዙ ሰው ያታልላል። እጅዎን በጥርሱ ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያሻሹ ለስልሶ፣ ሲመልሱ እንደ መጋዝ ከቧጠጠ ጎማው ሲነዳ ይጮኻል፤ ይተዉት።

አራቱንም ጎማ ሞተሩ የሚያሽከረክርበት (ፎር ዊል ድራይቭ) መኪና ካለዎ የአራቱ ልኬት ተቀራራቢ መሆን አለበት። የ2 ሚሊ ሜትር የጥርስ ልዩነት የጎማውን ዙሪያ በ12 ሚሊ ሜትር ከግማሽ ያህል ይለውጠዋል፤ ኃይሉን ለጎማዎቹ የሚያከፋፍለው ዲፈረንሻል በቀጥታ መንገድም ሳያርፍ እንዲሠራ ያደርገዋል። ምን ያህል ልዩነት እንደሚፈቀድ በመኪናዎ መመሪያ ላይ ይፈልጉ።

ዋጋውን በሚሊ ሜትር ማስላት

በብዙ አገር ሕግ የሚፈቅደው ዝቅተኛ ጥርስ 1.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ በቦዮቹ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ድልድዮች የሚያመለክቱት ይህንኑ ነው። ሰፊ የስፖርት ጎማ ግን ውኃ ላይ መንሳፈፍ የሚጀምረው ከዚያ በፊት ስለሆነ፣ እኔ 3 ሚሊ ሜትርን እንደ ማብቂያ እቆጥራለሁ። አዲሱ 8 ሚሊ ሜትር ቢኖረው ጥቅም ላይ የሚውለው 5 ነው ማለት ነው። የሚሸጥልዎ 6 ካለው የቀረዎት 3፣ ማለትም የአዲሱ 60 በመቶ ነው። ሻጩ የአዲሱን 60 በመቶ ከጠየቀዎ ምንም ቅናሽ አላደረገልዎትም፤ ዋስትና ሳይኖርዎ፣ የማስገጠሚያና የባላንስ ወጪውንም ቶሎ ደግመው ሊከፍሉ፣ በአዲሱ ሒሳብ ነው የገዙት። በእኔ ሚዛን እንዲህ ያለ ጎማ ከአዲሱ 40 በመቶ ካለፈ አይገዛም። የአዲሱን ጥልቀት ከአምራቹ መረጃ ያረጋግጡ፤ ለእሽቅድድም የሚያደሉ አንዳንድ ጎማዎች ሲወጡም ጥርሳቸው አጭር ነው።

ሁለት ብቻ ከሆኑ ደግሞ የዋጋውን ነገር ትተው ከቀሪዎቹ ሁለት ጎማዎች ጋር በዓይነትም በዕድሜም መስማማታቸውን ይጠይቁ። የተሻለው ጥንድ ወደ ኋላ ይግባ፤ የኋላው ቀድሞ ከተንሸራተተ መኪናውን መልሶ መያዝ ከባድ ነው።

ከገዙ በኋላ

ሲገጠም ቀስቱ ወደ ፊት መሽከርከሩን፣ ውጭ የሚለው ጽሑፍ ወደ ውጭ መሆኑን ቆመው ይመልከቱ፤ ይህን ገልብጠው የሚገጥሙ አሉ። የነፋስ መሙያውን ቫልቭ አዲስ ያስደርጉ። ባላንስ ሲደረግ ማሽኑ ላይ ሲሽከረከር ወደ ላይና ወደ ታች የሚዘል ጎማ ካዩ ብዙ የባላንስ ክብደት (እርሳስ) ለጥፈው እንዲያስተካክሉት አይፍቀዱ፤ ቅርጹ የተበላሸ ሊሆን ይችላልና ለሻጩ ይመልሱት። ለዚህም ሲገዙ ቢያንስ የጥቂት ቀን የመመለሻ ስምምነት ይያዙ። ቡሎኖቹን ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ በልካቸው እንደገና ያስጠብቁ። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ደግሞ ባዶና ሰፊ ቦታ ፈልገው፣ ብቻዎን ሆነው፣ በዝግታ ፍጥነት ፍሬን ይያዙ፤ መኪናው ወደ አንድ ጎን ከተጎተተ በዚያው ጎማ ወደ ቤት ቀስ ብለው ይመለሱና በማግስቱ ያስወልቁት።