በክረምት ከልጆች ጋር ኑረንበርግን እንዴት መጎብኘት ይቻላል

ኑረንበርግ በደቡብ ጀርመን፣ በባየርን ግዛት ያለች ከተማ ናት። አሮጌው ክፍሏ ዙሪያውን አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ግንብ የታጠረ ሲሆን የግንቡ አብዛኛው ክፍል ዛሬም እንደቆመ ነው። ከዋናው ባቡር ጣቢያ ተነስቶ ኮረብታው ላይ እስካለው የነገሥታት ግንብ በእግር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ትንንሽ ልጆች ላሉት ቤተሰብ ከሙኒክም ከበርሊንም በፊት ይህችን ከተማ የምንመክረው ለዚህ ነው።

ወደዚያ በክረምት የሚሄድ ቤተሰብ ስለ ብርዱ ያስባል፤ የቀኑን ማጠር ግን ይረሳል። በዲሴምበር ፀሐይ የምትወጣው 8:00 ገደማ፣ የምትጠልቀው ደግሞ 16:15 ገደማ ነው። (ሰዓቱን ሁሉ እዚህ የጻፍነው ጀርመኖች በሚቆጥሩት ነው፤ የባቡር ትኬቱም የሙዚየሙ በርም የሚያሳየው ያንኑ ነው።) ጉዞው የሚቃናው ቀኑን ሦስት ቦታ ስትከፍሉት ነው፦ ጠዋት ውጭ፣ ከምሳ በኋላ ሞቅ ያለ ቤት ውስጥ፣ ሲመሽ ደግሞ መብራቱን ለማየት ለአጭር ጊዜ ውጭ።

ቀኑን መምረጥ

አብዛኛው ሰው የሚሄደው ለገና ገበያው፣ ለክሪስትኪንድለስማርክት ነው። ገበያው የሚከፈተው ከመጀመሪያው የአድቬንት (የምዕራባውያን ገና መዳረሻ ሰሞን) እሑድ በፊት ባለው ዓርብ ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር አጋማሽ ላይ ይውላል። በየቀኑ ከ10:00 እስከ 21:00 ክፍት ነው፤ ዲሴምበር 24 ግን 14:00 ላይ ይዘጋል፤ የዓመቱም መጨረሻ ያ ነው። በመክፈቻው ዓርብ 17:30 ላይ ነጭና ወርቃማ ልብስ የለበሰች ወጣት በአደባባዩ ካለው ፍራወንኪርሸ ቤተ ክርስቲያን ሰገነት ሆና ገበያውን ታውጃለች። ያምራል፤ ግን አደባባዩ መፈናፈኛ ስለማይኖረው ከአሥር ዓመት በታች ልጅ ይዛችሁ አትሂዱ። ልጁ ከአዋቂ ጀርባ በቀር የሚያየው ነገር አይኖርም።

ከሰኞ እስከ ሐሙስ ያሉትን ቀናት ምረጡ። ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ በድንኳኖቹ መካከል ያለው መተላለፊያ ስለሚጨናነቅ የሕፃን ጋሪ አያልፍም። ከዲሴምበር 24 ከሰዓት ጀምሮ እስከ 26 ማታ ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው፤ በእነዚያ ቀናት እዚያ ከሆናችሁ የሦስት ቀን ምግብ በ23 ገዝታችሁ ግቡ። እሑድም ሱፐርማርኬት አይከፈትም፤ በባቡር ጣቢያው ውስጥ ካሉ ሱቆችና ከአንዳንድ ዳቦ ቤቶች በስተቀር።

ገበያው የማያጓጓችሁ ከሆነ በጃንዋሪ ሂዱ። ሙዚየሞቹ ባዶ ናቸው፣ ሆቴሉም ይረክሳል። ነገር ግን በወሩ መጨረሻና በፌብሩዋሪ መጀመሪያ አካባቢ ትልቁ የአሻንጉሊት ንግድ ትርዒት አለ፤ ለነጋዴዎች ብቻ ስለሆነ ልጆቻችሁ አይገቡበትም፣ የሆቴል ዋጋ ግን ጣሪያ ይነካል።

ቪዛና መንገድ

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘና የሸንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ሰው ቪዛ ያስፈልገዋል። ማመልከቻው ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ይቀርባል፤ ቢዘገይ ደግሞ ከ15 ቀን በፊት መግባት አለበት። ቀጠሮ ማግኘቱ ራሱ ጊዜ ስለሚወስድ ለዲሴምበር ጉዞ በኦገስት ጀምሩ። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ከ6 ዓመት በላይ ሆኖ 12 ላልሞላው ልጅ 45 ዩሮ ነው፤ ከ6 ዓመት በታች ያለ አይከፍልም። የጉዞ ሕክምና መድኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን አለበት። ፓስፖርቱ ከመመለሻው ቀን በኋላ ሦስት ወር የሚቀረውና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው ይሁን። ከወላጆች አንዱ ብቻ ከልጆቹ ጋር የሚሄድ ከሆነ የልደት ምስክር ወረቀትና የሌላው ወላጅ በጽሑፍ የተሰጠ ፈቃድ አብሮ ይቀርባል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትኖሩ ደግሞ የምታመለክቱት ከምትኖሩበት አገር ነው።

ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ ያለው ወደ ፍራንክፈርት ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያው የረጅም ርቀት ባቡር ጣቢያ ኑረንበርግ በፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ቅናሽ ያለው ትኬት የሚያገለግለው ለተጻፈበት ባቡር ብቻ ስለሆነ፣ አውሮፕላኑ ቢዘገይ ወይም ሻንጣ ቢጠፋ ገንዘቡ ይቀልጣል። ለመጀመሪያው ቀን ሰዓት የማይገድበውን ትኬት ግዙ፤ ካልሆነም በማረፊያውና በባቡሩ መካከል ሦስት ሰዓት ተዉ። ከ6 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆች ከአዋቂ ጋር በነፃ ይሳፈራሉ፤ ግን ትኬቱ ሲገዛ ቁጥራቸው እንዲመዘገብ ያስፈልጋል። ወንበር ለብቻው ስለሚያዝ በአድቬንት ሰሞን ያላስያዘ ቤተሰብ ተበታትኖ ወይም ቆሞ ይሄዳል።

ኑረንበርግ የራሷ አውሮፕላን ማረፊያም አላት። የምድር ውስጥ ባቡሩ ሁለተኛ መስመር ከዚያ ወደ ዋናው ጣቢያ በ12 ደቂቃ ያደርሳል። ባቡሩ ሾፌር የለውም፤ ልጆቹን ከፊት መስታወቱ አጠገብ አስቀምጧቸው፣ ዋሻውን እያዩ ይሄዳሉ። በከተማው ውስጥ ለቤተሰብ የሚያዋጣው ታገስቲኬት ፕሉስ የሚባለው የቀን ትኬት ነው። አንዱ ትኬት ስድስት ሰው ያሳፍራል፤ ከእነሱ 18 ዓመት የሞላቸው ከሁለት መብለጥ የለባቸውም። ቅዳሜ የተገዛው እሑድንም ይጨምራል።

ማረፊያችሁ አሮጌውን ከተማ ከሚያጥረው ግንብ ውስጥ ወይም ከጣቢያው አጠገብ ይሁን። ራቅ ያለው ሆቴል ዋጋው ቢቀንስም ልጆቹ በቀትር ተመልሰው የሚሞቁበትና የሚተኙበት ቦታ ያሳጣችኋል። ጋሪ የምትገፉ ከሆነ ከፔግኒትስ ወንዝ በስተደቡብ፣ በሎሬንስ በኩል ያለውን ምረጡ፤ ሰሜኑ ዳገት ነው። ጿሚ ቤተሰብ ማብሰያ ያለው አፓርታማ ቢይዝ ይሻለዋል።

ልብስና ጫማ

በዲሴምበር ቀኑ ሦስትና አራት ዲግሪ፣ ሌሊቱ ከዜሮ በታች መሆኑ የተለመደ ነው። አንድ ወፍራም ካፖርት ደራርቦ የመልበስን ያህል አያሞቅም። ከሥር ሱፍ ወይም ላብ ቶሎ የሚያደርቅ ስስ ልብስ፣ ከላዩ ሹራብ ወይም ፍሊስ፣ ከሁሉም በላይ ንፋስና ውሃ የማያስገባ ጃኬት ይለበሳል። የጥጥ ካናቴራ ከሥር አታልብሱ፤ ልጁ ሲሮጥ ላቡን ይይዛል፣ ሲቆም ያ እርጥበት ሰውነቱን ያቀዘቅዘዋል።

ብርዱ ከሁሉ በፊት የሚገባው በእግር ነው። አደባባዩ ድንጋይ ንጣፍ ስለሆነ የቆመ ሰው ሙቀቱ በጫማው ሥር ያልቃል። ጫማው ወፍራም ሶል ያለውና ከተለመደው ቁጥር አንድ ከፍ ያለ ይሁን፤ በወፍራም ካልሲ ላይ ጫማ ሲጠብ የደም ዝውውሩ ይቀንስና ጣት ይደነዝዛል። ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ጥንድ ጓንት ያዙ፤ አንዱ መርጠቡ አይቀርም። ጋሪው ትልልቅ ጎማ ያለው ይሁን፣ ትንንሾቹ ጎማዎች በድንጋዮቹ መካከል ይሰነቀራሉ። ጋሪ ውስጥ የተቀመጠ ሕፃን ስለማይንቀሳቀስ ከሚሄደው ልጅ ይልቅ ቶሎ ይበርደዋል፤ አንገቱን ከኋላ እየነካችሁ ፈትሹ።

የመጀመሪያው ቀን፦ አደባባዩ

ጠዋት 10:00 ገደማ ከጣቢያው በኩል በኮኒግሽትራሰ ውረዱ። በመንገዳችሁ ሎሬንስ ቤተ ክርስቲያንን ታገኛላችሁ፤ ውስጡ አዳም ክራፍት ከድንጋይ የቀረጸው 20 ሜትር ገደማ የሚረዝም የቅዱስ ቁርባን ማኖሪያ አለ። ከሙዜውምስብሩከ ድልድይ ላይ ወንዙን ተሻግሮ የተሠራውን የ14ኛው መቶ ዘመን ሆስፒታል አይታችሁ ወደ ዋናው አደባባይ፣ ሀውፕትማርክት፣ ግቡ። ድንኳኖቹ ገና ሰው ስላልበዛባቸው የምትገዙትን የምትገዙት አሁን ነው።

በአደባባዩ ጥግ ያለው 19 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ያጌጠ ምንጭ ሾነር ብሩነን ይባላል። በብረት አጥሩ ላይ የሚሽከረከር የወርቅ ቀለም ቀለበት አለ፤ ምኞት ይዞ ማዞር የአገሬው ልማድ ነው። ይህንኑ ምንጭ የመገናኛ ቦታ አድርጉት፣ ከየትም ይታያል። የስልክ ቁጥራችሁንም በልጁ ክንድ ላይ በማይለቅ ቀለም ጻፉ፤ ጃኬት ሊወልቅ ይችላልና።

ከ12:00 አሥር ደቂቃ ቀድማችሁ ወደ ፍራወንኪርሸ ፊት ዙሩ። በ1509 የተሠራው ሰዓት ልክ በቀትር ሰባት መሳፍንትን አውጥቶ በንጉሠ ነገሥቱ ዙሪያ ሦስት ጊዜ ያዞራቸዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ካርል አራተኛ ነው፤ ሰዓቱ የሚያስታውሰው እሱ በ1356 ስለ ንጉሥ አመራረጥ ያወጣውን የወርቅ ማኅተም አዋጅ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ የቆመው በ1349 አይሁድ ተገድለው በፈረሰው ምኩራብ ቦታ ላይ ነው። ይህን ለትልልቆቹ ልጆች መንገር ይገባል፤ ከተማዋን በመብራቷ ብቻ ማየት ጎዶሎ ነው።

ከምሳ በኋላ በቅርብ ወዳለው ሀንስ ዛክስ ፕላትስ፣ ወደ ልጆቹ ገበያ ሂዱ። ባለ ሁለት ፎቅ የፈረስ መሽከርከሪያ፣ ትንሽ ባቡርና ልጆች ራሳቸው የሚሠሩባቸው ድንኳኖች አሉ። ከአንድ ሰዓት በላይ ውጭ አትቆዩ። ከዚያ ወደ ክፍላችሁ ተመለሱ፤ 17:00 ላይ መብራቱን ለማየት ግማሽ ሰዓት ውጡ፣ ይበቃል።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን

የነገሥታቱን ግንብ፣ ካይዘርቡርግን፣ ጠዋት እዩ። በክረምት የሚከፈተው ከ10:00 እስከ 16:00 ብቻ ስለሆነ «ከሰዓት እንሄዳለን» ያለ ሰው ዝግ በር ይጠብቀዋል። ከ18 ዓመት በታች ያሉ አይከፍሉም። ልጆች በጣም የሚወዱት ጥልቁን ጉድጓድ ነው፦ 50 ሜትር ገደማ በዓለት ውስጥ ተቆፍሯል፣ አስጎብኚው ውሃ ሲያፈስ ድምፁ እስኪሰማ ልጆቹ ሰከንድ ይቆጥራሉ። ስትወርዱ ሠዓሊው አልብረክት ዱረር ከ1509 እስከ 1528 የኖረበትን ቤትና የቫይስገርበርጋሰን ጎዳና ታገኛላችሁ። በጃንዋሪ 2፣ 1945 የአየር ድብደባ አብዛኛው አሮጌ ከተማ ወድሟል፤ ይህ ጎዳና ግን ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ነው።

ሦስተኛው ቀን ዝናብ ቢሆንም አያስጨንቅ። ከጣቢያው አጠገብ ያለው የባቡር ሙዚየም የአድለርን ታሪክ ያሳያል፤ በ1835 ከኑረንበርግ ወደ ፊዩርት በመሄድ የጀርመንን የባቡር ዘመን የከፈተው ሎኮሞቲቭ ነው። ልጆች የሚጫወቱበት ሰፊ ክፍልም አለው። የአሻንጉሊት ሙዚየሙም በእግር ይደረሳል። ብዙ ሙዚየሞች ሰኞ ስለሚዘጉ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ልጆቻችሁ ከ14 ዓመት በላይ ከሆኑ ከኖቬምበር 1945 እስከ ኦክቶበር 1946 የናዚ መሪዎች የተዳኙበትን 600 ቁጥር ችሎት አሳዩአቸው፤ እሱ የሚዘጋው ማክሰኞ ነው። ለትንንሾቹ ይከብዳል።

ምግብ፣ በተለይ ለጿሚና አሳማ ለማይበላ

የነቢያት ጾም የሚገባው ኅዳር 15 ስለሆነ ገበያው ከሞላ ጎደል በሙሉ በጾም ላይ ይውላል። አደባባዩን የሚያውደው የጥብስ ሽታ የከተማዋ ቋሊማ ነው፤ ከ7 እስከ 9 ሴንቲ ሜትር የምትረዝም፣ ከአሳማ ሥጋ የምትሠራ፣ ሦስቱ በአንድ ዳቦ ውስጥ የሚሸጡ። ልጆች መጠየቃቸው ስለማይቀር ቁርስ አብልታችሁ፣ ሌላ የሚይዙትን አዘጋጅታችሁ ግቡ።

ለጾም «ቬጋን» ማለት ይበቃል፤ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ እንደሌለበት ሻጩ በአንድ ቃል ይረዳል። በስኳር የተቆላ ለውዝና የተጠበሰ «ማሮኒ» (ቼስትነት የተባለው የዛፍ ፍሬ) ብዙ ጊዜ አያሳስቡም። የድንች ቂጣው ግን በአብዛኛው እንቁላል አለበት፤ ብረትዘል ዳቦ ቅቤ ሊገባበት ስለሚችል ጠይቁ። ሌብኩኸን የተባለው ቅመም ያለው ብስኩትም እንቁላል አለው። የላስቲክ ከረሜላዎች የሚረጉበት ጄላቲን ብዙውን ጊዜ ከአሳማ ነው፤ ይህን ሙስሊም ቤተሰቦችም ልብ ይበሉ። ከጣቢያው በስተደቡብ ባሉት ሰፈሮች የቱርክ ሱቆች ስላሉ ምስር፣ ሽምብራና ሐላል ሥጋ ይገኛል።

ትኩሱ ቀይ መጠጥ ግሉቫይን የወይን ጠጅ ነው። ለልጆች «ኪንደርፑንሽ» በሉ፤ አልኮል የሌለው የፍራፍሬ መጠጥ ነው፣ ሲቀዳ ግን ይፋጃልና አቀዝቅዛችሁ ስጡ። ከዋጋው በላይ የሚጠየቀው ገንዘብ የኩባያው መያዣ ነው፤ ኩባያውን ስትመልሱ ይመለሳል፣ ከፈለጋችሁም ኩባያውን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ሳንቲም አትጡ፤ መጸዳጃ ቤቶች ያስከፍላሉ፣ አንዳንድ ድንኳኖችም ካርድ አይቀበሉም።

ለገና የሚሆን ስጦታ ከፈለጋችሁ «ኤሊዘን» የሚል የተጻፈበትን ሌብኩኸን ምረጡ። ቢያንስ አንድ አራተኛው ለውዝና መሰል ፍሬ፣ ዱቄቱ ቢበዛ 10 በመቶ መሆን አለበት፤ የለውዝ አለርጂ ላለበት ሰው ግን አትስጡ። በቆርቆሮ የታሸገው ለሳምንታት ስለሚቆይ ታኅሣሥ 29 ጾሙ ሲፈታ ይደርሳል። ውሃ ያለበት የበረዶ ኳስ ከገዛችሁ በልብስ ጠቅልላችሁ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አስገቡት፤ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ ያለበትን በእጅ ብትይዙ ፍተሻው ላይ ሊቀር ይችላል።