የተከራያችሁትን ቤት የኪችን ካቢኔት ሳታበላሹ ማጽዳትና ማደስ

ውጭ አገር ቁልፍ ተቀብላችሁ ወደ መጀመሪያው የኪራይ ቤታችሁ ስትገቡ ሳሎኑ ባዶ ስለሆነ ንጹሕ ይመስላል። ኪችኑ ግን ያጋልጣል። የካቢኔቱን በር ስትነኩት እጃችሁ ላይ ይጣበቃል። እጀታው ዙሪያ ጠቁሯል። ከምድጃው በላይ ያለው ደግሞ ቢጫ ሆኗል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተስፋ ይቆርጣል። «ይሄ አርጅቷል፣ ካልተቀየረ አይሆንም» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ያረጀው ካቢኔቱ ሳይሆን ላዩ ላይ የተጋገረው ቅባት ነው። እሱ ደግሞ ይለቃል።

ጨርቅ ከማንሳታችሁ በፊት ስልካችሁን አውጡ። እያንዳንዱን በር ከውጭም ከውስጥም ፎቶ አንሱ። የተጫረ፣ የተላጠ፣ ያበጠ ነገር ካለ ቀረብ ብላችሁ አንሱት። ከሲንኩ በታች ያለውን እንዳትረሱ። ፎቶዎቹን በዚያው ቀን ለአከራያችሁ በጽሑፍ መልእክት ወይም በኢሜይል ላኩ። ስትወጡ «ይህን ያበላሻችሁት እናንተ ናችሁ» ቢባል መልሳችሁ እዚያ ቀኑ ተጽፎበት ይቀመጣል።

ቀጥሎ ካቢኔቱ ከምን እንደተሠራ እዩ። በኪራይ ቤቶች የምታገኟቸው ብዙዎቹ ድፍን እንጨት አይደሉም። ውስጣቸው ተጨምቆ የተጣበቀ የእንጨት ብናኝ ነው፤ ቺፕውድ ወይም ኤምዲኤፍ የሚባለው። ላዩ በስስ ፕላስቲክ፣ በሜላሚን ወይም በቀለም ተሸፍኗል። ይህ ብናኝ ውሃ አይወድም። በጠርዙ ስንጥቅ በኩል ውሃ ከገባበት ያብጣል፤ ካበጠ በኋላ ቢደርቅም ወደ ቀድሞ ቅርጹ አይመለስም።

እኔ ይህን የተማርኩት በገንዘቤ ነው። የመጀመሪያው ቤቴ ውስጥ ከሲንኩ በታች ያለውን በር ውሃ በጠገበ ጨርቅ እያጠብኩ፣ ሳላደርቀው እተወው ነበር። ንጽሕና መስሎኝ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ የበሩ የታችኛው ጠርዝ እንደ እርጥብ ካርቶን አበጠ። ሽፋኑም ከጥግ ጀምሮ መላጥ ጀመረ። ስወጣ የበሩ ዋጋ ከማስያዣዬ ላይ ተቆረጠ። ልከራከር አልቻልኩም፣ ያጠፋሁት እኔ ነበርኩ።

ስለዚህ ዋናው ነገር ብዙ ውሃና ብዙ ጉልበት አይደለም። ስታበስሉ የሚተነው ዘይት ካቢኔቱ ላይ ያርፋል፣ አቧራ ይይዛል። አየርና ሙቀት እያገኘው ሲሄድ ደግሞ እንደ ቫርኒሽ ይደርቃል። በጥፍር ብትፍቁት የሚያስቸግረው ለዚህ ነው። እሱን የሚያላቅቀው ሙቀት፣ ሳሙናና ትንሽ ጊዜ ነው።

አንድ ሊትር ያህል ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩ። በሌላ ዕቃ ንጹሕ ውሃ ያዙ። ሦስት ለስላሳ ጨርቅ ያስፈልጋችኋል፤ አንዱ ለሳሙናው፣ አንዱ ለማለቅለቂያ፣ አንዱ ለማድረቂያ። መጀመሪያ ከበሩ ጀርባ በማይታይ ቦታ ሞክሩት። ቀለሙ ካልለቀቀ ቀጥሉ። ጨርቁን ጠብ የሚል ውሃ እስከማይኖረው ድረስ ጭመቁት። በሩን አርጥቡትና አንድ ሁለት ደቂቃ ተዉት። ከዚያ ስትጠርጉት ቡናማው ቅባት ጨርቁ ላይ ሲመጣ ታያላችሁ። ካልመጣ አትፈትጉ፣ ደግማችሁ አርጥቡት። አንድ በር ሳትጨርሱ ወደ ሌላው አትለፉ፤ አለቅልቁት፣ ወዲያው አድርቁት። የታችኛውን ጠርዝ በጣታችሁ ዳስሱት። እርጥበት የሚቀረው እዚያ ነው።

በሩ ጌጥ ወይም ጎድጓዳ መስመር ካለው ያገለገለ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል። እጀታውን በካቻቢቴ ፈትታችሁ ለብቻው ሳሙና ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት። ከሥሩ የሚወጣውን ስታዩ ለምን እንዳልኳችሁ ይገባችኋል።

የላይኛው ካቢኔት አናት ሌላ ጉዳይ ነው። ማንም ስለማያየው ለዓመታት ተከምሮ ይቆያል፤ ሙጫ የመሰለ አቧራ ታገኛላችሁ። እዚህ ላይ ሳሙና ብቻውን ሊያቅተው ይችላል። ወረቀት ላይ ጥቂት የምግብ ዘይት አድርጋችሁ ቀቡትና አሥር ደቂቃ ተዉት። አዲሱ ዘይት የደረቀውን ያለሰልሰዋል። ጠርጋችሁ ስታነሱት የቀረውን በሳሙናው ውሃ እጠቡ። ሲደርቅ ወረቀት አንጥፉበት። በሚቀጥለው ጊዜ ወረቀቱን መቀየር ብቻ ነው ሥራችሁ።

ስለ በረኪና አንድ ነገር ልበል፣ አደራ። በረኪና ጀርም ይገድላል፣ ያነጣል እንጂ ቅባት አያነሳም። ለካቢኔት አያስፈልጋችሁም። ከአቼቶ ወይም አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ ሳንባ የሚጎዳ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። ብርድ ነው ብለን መስኮት ዘግተን ስናጸዳ አደጋው ይብሳል። ገና የአገሩን ቋንቋ እየለመዳችሁ ከሆነ የጠርሙሱን ጽሑፍ በስልካችሁ ተርጉማችሁ አንብቡ። ሁለት ማጽጃ በፍጹም አትቀላቅሉ። ሌላው ደግሞ የስፖንጁ ሻካራ ጎን ነው፤ የሚያብረቀርቅ በር ላይ ጭረት ይተዋል። እድፍ እንደ ላጲስ የሚያነሳው ነጭ ስፖንጅም እንደ ረቂቅ የብርጭቆ ወረቀት ስለሆነ ማብረቅረቁን ይወስደዋል።

ውስጡ ቀላል ነው። ዕቃውን አውጡ፣ ፍርፋሪውን ጥረጉ፣ በእርጥብ ጨርቅ አብሱ፣ በሩን ከፍታችሁ እስኪደርቅ ጠብቁ። ጥጋጥጉና ማጠፊያው አካባቢ በረሮ ካያችሁ ለአከራዩ በጽሑፍ አሳውቁ። ከሲንኩ በታች ያለውን ቧንቧ በደረቅ ሶፍት ያዙት። ሶፍቱ ከራሰ የሚያፈስ ነገር አለ ማለት ነው፤ ያንንም ሳትውሉ ሳታድሩ ተናገሩ።

ከታጠበ በኋላም የተንጋደደ በር ካለ ኪችኑ ያረጀ ይመስላል። በሩን ከፍታችሁ ማጠፊያውን እዩ። በአሁኖቹ ማጠፊያዎች ላይ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ብሎን በሩን ወደ ግራና ቀኝ፣ ሌላው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ፣ ከካቢኔቱ ጎን ጋር የያዙት ደግሞ ወደ ላይና ወደ ታች ያስኬዱታል። ሩብ ዙር ብቻ አዙሩና በሩን ዘግታችሁ ተመልከቱ። ከዚያ ሌላ ሩብ። ብሎኑ ዝም ብሎ የሚዞር ከሆነ ቀዳዳው ሰፍቷል። ስቴኪኒ የእንጨት ኮላ ነክራችሁ ቀዳዳውን ሙሉበት፣ የተረፈውን ስበሩት፣ ሲደርቅ ብሎኑን መልሱ። ይይዛል።

በትንሽ ወጪ ትልቅ ለውጥ የሚያመጣው እጀታ መቀየር ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ከአንዱ ብሎን መሐል እስከ ሌላው ብሎን መሐል ለኩ። ብዙ ጊዜ 96 ወይም 128 ሚሊ ሜትር ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ሦስት ኢንች፣ ማለትም 76 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነውም ይበዛል። ልኩ ከተለየ አዲስ ቀዳዳ መብሳት ሊመጣ ነው፣ እሱ ደግሞ ስትወጡ ያስጠይቃል። አሮጌዎቹን ከነብሎናቸው በላስቲክ አስራችሁ አስቀምጡ። ስትለቁ መልሳችሁ ትገጥሟቸዋላችሁ፤ አዲሶቹን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ።

በሮቹን በሚለጠፍ ፕላስቲክ መሸፈን የምትወዱ ከሆነ ከበሩ ጀርባ ትንሽ ለጥፋችሁ ሰንብቱ። ሲነሳ ቀለም ይዞ የሚነሳ ከሆነ ተዉት። ከምድጃና ከኦቨን አጠገብም አትለጥፉ፣ ሙቀቱ ያላቅቀዋል። ለማንሳት የፀጉር ማድረቂያ ሙቀት ይረዳል።

ቀለም መቀባት ግን ያለ ጽሑፍ ፈቃድ አይሞከርም። ቤቱ የቆየ ከሆነ የበለጠ ተጠንቀቁ። አሜሪካ ለመኖሪያ ቤት የሚሆን እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ያለበት ቀለም የከለከለችው በ1978 ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠራ ቤት ውስጥ አሮጌ ቀለም በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ በተለይ ለሕፃናት አደገኛ አቧራ ያስነሳል። ሳይመረመር አትንኩት። ሥጋት ከሌለና ፈቃድ ካገኛችሁ በሮቹን ፈትታችሁ የየትኛው ቦታ እንደሆኑ ቁጥር ጻፉባቸው። ቅባቱን በደንብ እጠቡ፤ ቅባት ላይ የተቀባ ቀለም ይላጣል። በ220 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርጋችሁ አሻሹ፣ አቧራውን አንሱ፣ ለላዩ ሽፋን የሚስማማ ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለሙ በፊት የሚቀባውን መሠረት፣ ቀቡ። ከዚያ ሁለት ጊዜ ስስ አድርጋችሁ ቀለሙን ቀቡ። በሰዓታት ውስጥ የደረቀ ይመስላል፤ ጠንክሮ እስኪበቃ ግን ሁለት ሦስት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። እስከዚያ ድረስ በሩን በቀስታ ክፈቱ ዝጉ፤ በእርጥብ ጨርቅም አትጥረጉት።